«ችግሩ ከኮምፒውተርዎ ነው» ቢሏችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የሞደሙን ሶኬት ንቀሉ

በኬብል የሚመጣ የቤት ኢንተርኔት ለማስገባት ያሰባችሁ፣ በተለይ ደግሞ እንደ እኔ ጡረታ ከወጣችሁ በኋላ የመጀመሪያ ኮምፒውተራችሁን የገዛችሁ፣ ቴክኒሽያኑ በራችሁን ከማንኳኳቱ በፊት ይህችን አንብቡልኝ። እኔ ትምህርቱን የገዛሁት በገንዘቤ ነው፤ ያውም እስካሁን በየወሩ እየከፈልኩ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ብጠራው እሱን ብቻ ሸሽታችሁ በሌላው በር ገብታችሁ ያንኑ ውል ትፈርማላችሁ ብዬ እሰጋለሁ።

ቴክኒሽያኑ በቀጠሮው ሰዓት መጣ። ትሑት ልጅ ነው። ከግድግዳው የሚወጣውን ወፍራም ጥቁር ገመድ ከሞደሙ (መስመሩን ከኮምፒውተር ጋር ከሚያገናኘው ሣጥን) ጀርባ ጋር አገናኝቶ ጫፉን በጣቶቹ አጥብቆ ጠመዘዘ። የሞደሙ መብራቶች ለጥቂት ደቂቃዎች ብልጭ ድርግም ሲሉ ቆይተው አንድ በአንድ ረጉ። ከዚያ ከቦርሳው የራሱን ላፕቶፕ አወጣ፣ በኔትወርክ ገመድ ከሞደሙ ጋር አያያዘው፣ አንድ ገጽ ከፈተና የፍጥነት መለኪያ አሳየኝ። መርፌው ሽቅብ ወጥቶ 34 ላይ ቆመ። የተዋዋልኩት ለ100 ሜጋቢት ነው፤ ግን ያን ሰዓት ለእኔ ሠላሳ አራትም መቶም ያው ነበር። የሚሮጥ መርፌ ማየቴ ብቻ ደስ አሰኝቶኛል። «ይኸው አባት፣ ሠርቷል። እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ» አለ። ፈረምኩ። ላፕቶፑን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ተሰናበተኝ።

ማታ መነጽሬን አድርጌ የፈረምኩትን ወረቀት ሳነበው «አገልግሎቱ በደንበኛው ኮምፒውተር ላይ ተሞክሮ በትክክል መሥራቱን አረጋግጫለሁ» ይላል። የእኔን ኮምፒውተር ማንም አልነካውም። ያንኑ ገመድ ወስጄ የራሴው ላይ ስሰካው በማያ ገጹ ግርጌ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ብቅ አለ፤ ኢንተርኔት የለም። ገመዱን ነቅዬ ደግሜ ሰካሁት። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት። ሦስት ማዕዘኑ ከቦታው አልተነቃነቀም።

በማግስቱ ደወልኩ። ብዙ ካስጠበቁኝ በኋላ አንዲት ለስላሳ አነጋገር ያላት ልጅ አነሳች።

«ኮምፒውተርዎ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ገና ሳምንቱ ነው። አዲስ ነው።»

«ለጀማሪዎች የሚሸጠው ዓይነት ነው?»

«ሻጩ እንደዚያ ብሎኛል።»

«እንግዲያው ችግሩ ከኮምፒውተርዎ ነው። የእኛ መስመር በላፕቶፕ ተፈትሾ መሥራቱን እርስዎ ራስዎ ፈርመዋል። የእነዚህ ኮምፒውተሮች የኔትወርክ ካርድ ከአገልግሎታችን ጋር አይጣጣምም።»

ይህን እየነገረችኝ ገመዱ ከተሰካበት ቀዳዳ አጠገብ አንዲት አረንጓዴ መብራት ቦግ ብልጭ ትል ነበር። ያች መብራት ካርዱ፣ ማለትም ገመዱ የሚሰካበት የኮምፒውተሩ ክፍል፣ ደህና መሆኑን እየመሰከረች ኖሯል፤ ቋንቋዋን ስለማላውቅ ምስክርነቷን አልሰማሁም። ልጅቷ «የጀማሪዎች ጥቅል» የሚባል መፍትሔ እንዳላቸው ነገረችኝ፦ በዩኤስቢ የሚሰካ የኔትወርክ ካርድ፣ ኢንተርኔት ማፋጠኛ ፕሮግራም ያለበት ሲዲ፣ ጸረ ቫይረስ፣ የስልክ እገዛ። የ12 ወር ውል ነው፤ ክፍያው ከወርሃዊው ሒሳብ ጋር ይደመራል። በወር ሲታይ ትንሽ ነው። በ12 ሲባዛ የኮምፒውተሬን ዋጋ ሩብ ያህላል። ያን ጊዜ አላባዛሁትም።

ሁለተኛ ቴክኒሽያን መጣ፤ የመምጫውም ለብቻው ተከፈለ። ካርዱን ሰካ፣ ሲዲውን አስገባ፣ ገመዱን ወደ አዲሱ ካርድ አዛወረ። ከዚያም የነገሩ ሁሉ ቁልፍ የሆነችውን ዓረፍተ ነገር ተናገረ፦ «ሁሉንም አንድ ጊዜ አጥፍተን እናብራ።» ሞደሙን ከኤሌክትሪክ ነቀለው፣ ኮምፒውተሩን አጠፋው፣ ትንሽ ጠብቆ መለሰ። ገጹ ተከፈተ! ምስጋናዬን አዥጎደጎድኩለት።

የእህቴ ልጅ የኔትወርክ ባለሙያ ነው። ሩቅ ስለሚኖር በስልክ ነው ያጫወትኩት። ስለ ካርዱ ስነግረው ሳቀብኝ። ተቀየምኩ፤ ምክንያቱም እኔም በበኩሌ ሳልመረምር አልቀረሁም። ካርዱን አውጥቼ ገመዱን ኮምፒውተሩ ራሱ ላይ ያለው ቀዳዳ ውስጥ ስሰካው ኢንተርኔት የለም፤ ካርዱን ስመልሰው አለ። ሦስት ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

«ጋሼ፣ ገመዱን ኮምፒውተሩ ላይ ይሰኩትና አሁን ደግሞ የሞደሙን የኤሌክትሪክ ሶኬት ይንቀሉት። እስከ ስልሳ ይቁጠሩና ይመልሱት» አለኝ። ቆጠርኩ። መለስኩ። መብራቶቹ እስኪረጉ የእህቴን ጤና ጠየቅኩት። ከዚያ ገጹ ተከፈተ፤ ያ የተከበረ ካርድ ጠረጴዛው ላይ እንደተጋደመ።

ልጁ ያስረዳኝን በራሴ አማርኛ ላስረዳችሁ። እያንዳንዱ የኔትወርክ ካርድ ከፋብሪካ ሲወጣ ማክ የሚባል ባለ 12 ፊደልና አኃዝ መለያ ተሰጥቶት ነው። የኬብል ሞደም ሲበራ ደግሞ ከድርጅቱ አንድ የቅንብር ፋይል ያወርዳል፤ የውላችሁ ፍጥነት የተጻፈው እዚያ ውስጥ ነው፣ ስንት መሣሪያ በቀጥታ ከሞደሙ ጋር መገናኘት እንደሚችልም እንዲሁ። በቤት ውል ብዙ ጊዜ የሚፈቀደው አንድ ነው። ሞደሙ ከበራ በኋላ መጀመሪያ ያየውን ካርድ ይመዘግባል፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን ሌላ አያስተናግድም። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት መዝገቡ ይጠፋል፣ ሲበራም እንደ አዲስ ይጀምራል። እንግዲህ ያ የመጀመሪያው ልጅ በራሱ ላፕቶፕ ሲሞክር አንዷን ቦታ የያዘው ላፕቶፑ ነው። ቦርሳውን አንግቶ ሲወጣ ቦታዬንም ይዞት ወጣ። ሁለተኛው መጥቶ ሞደሙን ሲያጠፋ ቦታው ተለቀቀ፤ ምስጋናውን የወሰደው ግን ካርዱ ሆነ። እኔም ካርዱን እየነቀልኩ ስሞክር ሞደሙን አጥፍቼ ስለማላውቅ በየጊዜው የካርዱን ሐሰተኛ ጀግንነት ሳረጋግጥለት ነበር።

ይህንን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ኮምፒውተሩ ላይ የኔትወርክ ሁኔታ የሚያሳየውን ገጽ ክፈቱና የአይፒ አድራሻውን (ኮምፒውተሩ በኔትወርክ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) ተመልከቱ። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ኮምፒውተሩ አድራሻ ጠይቆ መልስ የሚሰጠው ሲያጣ ለራሱ ያወጣው አድራሻ ነው። ይህ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ካርዱም ገመዱም ደህና ናቸው፤ ዝምታው ያለው ከሞደሙ በኩል ነው። የእኔ የቀድሞ ማስታወሻ ደብተር ላይ ቁጥሩ በእጄ ተጽፎ አለ፤ ልጅቷ በስልክ አስነብባኝ ነበርና። 169.254 ብዬ አነበብኩላት፣ ሰማችኝ፣ ካርድ ሸጠችልኝ። አላወቀችም ይሆን? እውነቱን ለመናገር አላወቀችም ብዬ ማሰብ ይቀለኛል።

በሞደምና በኮምፒውተር መካከል ራውተር (ኢንተርኔቱን ለብዙ መሣሪያ የሚያከፋፍል ዕቃ) ያላችሁ፣ ወይም ሞደሙ ራሱ ራውተርም የሆነላችሁ ሰዎች ኮምፒውተር ስትቀያይሩ ይህ አይደርስባችሁም፤ ሞደሙ የሚያየው ራውተሩን ብቻ ነው። ራውተሩን ስትቀይሩ ግን ሊገጥማችሁ ይችላል። አንድ ነገር ልጨምር፤ የስልክ አገልግሎት አብረው የሚሰጡ አንዳንድ ሞደሞች ውስጣቸው መጠባበቂያ ባትሪ አለ። የእነሱን ሶኬት ብትነቅሉ አይጠፉም፤ ባትሪውንም ማውጣት ያስፈልጋል።

ወደ ጥቅሉ ልመለስ። ማፋጠኛ የተባለው ፕሮግራም ምንም ሊያፋጥን አይችልም፤ የፍጥነቱ ጣሪያ የተወሰነው ሞደሙ በሚያወርደው ፋይል ነው፣ ፋይሉም ያለው በእነሱ እጅ ነው። የእኔ ላይ ያደረገው ነገር ቢኖር የማሰሻውን የመነሻ ገጽ መቀየርና ከላዩ ላይ የማስታወቂያ መደዳ መለጠፍ ነው። ለነገሩ በኔትወርክ ገመድ ለሚገናኝ ኮምፒውተር የማስጀመሪያ ሲዲ የሚባል ነገር አያስፈልግም፤ ሲዲ ይፈልጉ የነበሩት በዩኤስቢ የሚገናኙት የድሮ ሞደሞች ናቸው። ጸረ ቫይረሱንም ቢሆን ከዊንዶውስ 8 ወዲህ፣ ማለትም ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ዊንዶውስ የራሱን ይዞ ነው የሚመጣው። ያለኝን ነገር ደግሜ ገዛሁ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያናደደኝ ግን ሞደሙ ነው። ኢንተርኔቱ ከሠራ በኋላም መርፌዋ ከ34 እና 35 ፈቀቅ አልል አለች። የእህቴ ልጅ «ሞደሙን ገልብጠው ከሥሩ የተለጠፈውን ያንብቡልኝ» አለኝ። በደቃቃ ፊደል ዶክሲስ 2.0 ይላል። ዶክሲስ የኬብል ሞደሞች የሚሠሩበት ደረጃ ነው። 2.0 የሚቀበለው በአንድ ቻናል ብቻ ስለሆነ፣ ቻናሉ የ6 ሜጋኸርዝ ስፋት ባለበት መስመር ከ38 ሜጋቢት ብዙም አያልፍም። ብዙ ቻናል አንድ ላይ አጣምሮ የሚቀበለው 3.0 የወጣው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው፤ 3.1 በ2013። እንግዲህ ለ100 ሜጋቢት እያስከፈሉኝ፣ መቶውን በተፈጥሮው መሸከም የማይችል ዕቃ አከራይተውኛል፤ ለኪራዩም በየወሩ እከፍላለሁ። ያ የሚሮጥ መርፌ የመጀመሪያው ቀን ላይ እውነቱን ነግሮኝ ነበር።

ለፍትሕ ያህል፣ አንድ ክስ አንሥቼ ራሴ ጥፋተኛ ሆኛለሁ። ፋይል ሳወርድ 12 ምናምን የሚል ቁጥር አይቼ «መቶ ብላችሁ አሥራ ሁለት ሰጣችሁኝ» ብዬ በስልክ ጮኼባቸዋለሁ። ይህ ሞደሙ ከተቀየረ በኋላ ነው። ውሉ የሚናገረው በሜጋቢት ነው፣ ኮምፒውተሩ ፋይል ሲያወርድ የሚያሳየው በሜጋባይት። ስምንት ቢት አንድ ባይት ነው፤ መቶ ለስምንት ሲካፈል 12.5 ይመጣል። በዚህ አልበደሉኝም።

ሞደሙን የቀየሩልኝ በሦስተኛው አቤቱታ ነው፣ እሱንም የመለያ ወረቀቱን ፎቶ አንሥቼ ከውሉ ጋር አያይዤ በጽሑፍ ከላክሁ በኋላ። በስልክ የተናገርኩት ሁሉ እንዳልተባለ ነው የተቆጠረው። ያን ጊዜ የመጣው ቴክኒሽያን ሌላም ጉድ አሳየኝ። ከግድግዳው ጀርባ መስመሩን ለአራት የሚከፍል ማከፋፈያ አለ፤ ከአራቱ አፎች ሦስቱ ባዶ ናቸው፣ ለድሮ ቴሌቪዥን የተገጠመ ነው። በማሰሻው ላይ 192.168.100.1 ብሎ ጻፈና የሞደሙን የውስጥ ገጽ ከፈተ፤ የሚደርሰው የምልክት ኃይል 11 ከዜሮ በታች ይላል። ማከፋፈያውን አውጥቶ ገመዱን በቀጥታ ሲያገናኘው 4 ከዜሮ በታች ሆነ። ለአራት የሚከፍል ዕቃ 7 ዴሲቤል (የምልክት ኃይል መለኪያ ነው) ገደማ ይበላል፤ ከዜሮ ወዲያና ወዲህ እስከ 7 ያለው ደህና ነው አለኝ። የመጀመሪያው ልጅ ይህን ገጽ አልከፈተም። ክፈት የሚለውም አልነበረም፤ እኔ ወንበር አቅርቤለት መርፌውን ሳደንቅ ነበር።

ስለዚህ የሚመጣላችሁን ሰው በትሕትና አስቸግሩት። ላፕቶፑን ይዞ ቢመጣ ግድ የለም፣ ይሞክርበት፤ ከዚያ ግን ሞደሙን አጥፍቶ አብርቶ በእናንተ ኮምፒውተር ላይ ገጽ እስኪከፍት ብዕሩን አታንሡ። ቸኩያለሁ ካለ ወረቀቱ ላይ «በደንበኛው ኮምፒውተር አልተሞከረም» ብላችሁ በእጃችሁ ጽፋችሁ ፈርሙ፤ ይህን ስትጽፉ ቢያይ የሚቸኩል አይመስለኝም። የሞደሙን ሥር ገልብጣችሁ አንብቡ። ከኪራይ ብገዛ ይሻለኛል የምትሉም ካላችሁ መጀመሪያ ድርጅቱ የሚቀበላቸውን ሞዴሎች ጠይቁ፤ ያገለገለ ስትገዙ ደግሞ በቀድሞው ባለቤት ስም እንደተመዘገበ የቀረ እንዳይሆን፤ እንዲህ ያለውን አንቀበልም ሊሏችሁ ይችላሉ።

እስካሁን የተመለሰልኝ የሁለተኛው ቴክኒሽያን መምጫና የአሮጌው ሞደም የኪራይ ልዩነት ነው። ጥቅሉን ማቋረጥ እፈልጋለሁ ስል ማሸጊያው ስለተቀደደ አይመለስም አሉኝ። ማሸጊያውን የቀደደው የእነሱ ሰው ነው፤ ይህንንም ጽፌ ልኬያለሁ፣ መልስ የለም። ከ12 ወሩ 7 ይቀረኛል። ባለፈው ሳምንት የከፈልኩበትን ያህል ልጠቀም ብዬ የጥቅሉ ወደሆነው የስልክ እገዛ ደወልኩ። ሰው እስኪያነሣ ድረስ አንድ የተቀዳ ድምፅ ይመላለሳል፦ «ኢንተርኔት ካልሠራልዎ ሞደምዎን ከኤሌክትሪክ ነቅለው ከ1 ደቂቃ በኋላ መልሰው ይሰኩት።»