ዴልሂ በአንድ ቀን፦ አስጎብኚ ልያዝ፣ መኪና ብቻ፣ ወይስ በሜትሮ ልዙር?

ዴልሂ ደርሶ አንድ ነጻ ቀን ብቻ የሚያገኝ ሰው ብዙ ነው። በተለይ ከእኛ አገር የሚሄደው። አንዱ ቤተሰቡን ሊያሳክም ይሄዳል፣ አንዱ ዕቃ ሊያመጣ፣ አንዱ ደግሞ ወደ ሌላ አገር ሲያልፍ ያድራል። ከሐኪም ቀጠሮ ወይም ከበረራ በፊት አንዲት ቀን ትተርፋለች። ያኔ የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ "ሲቲ ቱር ትፈልጋላችሁ?" ይላል፤ ስልክ ላይ ደግሞ ብዙ ዓይነት ፓኬጅ ይመጣል፣ ሁሉም "የግል"፣ ሁሉም "ሙሉ ቀን"፣ ሁሉም ያንኑ ፎቶ የለጠፉ።

እኔ ወንድሜን ለማሳከም ሁለት ጊዜ ተመላልሻለሁ። በመጀመሪያው ጉዞ መኪና ከነሹፌሩ ያዝኩ። በሁለተኛው አስጎብኚ ጨመርኩበት። ወንድሜ ሆስፒታል ተኝቶ በነበረበት ጊዜ ደግሞ ብቻዬን በሜትሮ ወጥቻለሁ። ስለዚህ ሦስቱንም አውቃቸዋለሁ፣ ልዩነታቸውም ዋጋው ላይ ብቻ አይደለም።

የደረስኩበትን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ገንዘባችሁን ለመኪናው ጥራት አታውጡ፤ ለአስጎብኚው አውጡት። እሱም ቢሆን ለሁሉም ቦታ አያስፈልግም። አስጎብኚ የግድ የሚሆነው አሮጌው ዴልሂ እና ቁጥብ ሚናር የሚባለው የጥንት ማማ ላይ ነው። የቀረውን በራሳችሁ ታዩታላችሁ።

ስንት ቦታ ይታያል?

ዴልሂ ተደራርበው የተሠሩ ከተሞች ናት። በደቡብ በኩል ቁጥብ ሚናር አለ። በሰሜን የሙጋሉ ንጉሥ ሻህ ጃሃን በ1600ዎቹ የቆረቆረው አሮጌው ዴልሂ አለ፣ ቀይ ግንቡ፣ ጃማ መስጊድ እና ቻንድኒ ቾክ የሚባለው ገበያ እዚያ ናቸው። በመሃል እንግሊዞች የሠሩት ኒው ዴልሂ ተዘርግቷል። ከቁጥብ ሚናር እስከ ቀይ ግንቡ መንገዱ ከተዘጋጋ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል።

ስለዚህ በአንድ ቀን በወጉ የሚታየው አራት ቦታ ነው፣ ቢበዛ አምስት። አሥር ቦታ የሚዘረዝር ፓኬጅ ካያችሁ ግማሹን የምታዩት በመኪና መስኮት ነው። እኔ ዋጋ ከማየቴ በፊት አሁን የምቆጥረው የቦታውን ብዛት ነው፣ ያነሰውን እመርጣለሁ።

መኪና ከሹፌር ጋር

ዋጋ ስትጠይቁ "ስምንት ሰዓት፣ ሰማንያ ኪሎ ሜትር" ይሏችኋል። እዚያ የተለመደው ውል ይሄ ነው። ግማሽ ቀን ከሆነ "አራት ሰዓት፣ አርባ ኪሎ ሜትር" ይሆናል። ከዚያ ካለፈ በየሰዓቱ እና በየኪሎ ሜትሩ ይጨመራል። ለከተማው ጉብኝት ሰማንያው ይበቃል፣ የሚያልቀው ሰዓቱ ነው። አንድ ነገር ግን አጣሩ፦ ሰዓቱ የሚቆጠረው እናንተ ከገባችሁበት ነው ወይስ መኪናው ከማቆሚያው ከተነሳበት? አንዳንዶች ከማቆሚያቸው ነው የሚቆጥሩት። የመኪና ማቆሚያ ክፍያ በማን እንደሆነም ጠይቁ።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ኤሲ አለ፣ ዕቃችሁን መኪና ውስጥ ትተዋላችሁ፣ ሲደክማችሁ ትመለሳላችሁ። በግንቦት እና በሰኔ ሙቀቱ 45 ዲግሪ ሲደርስ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ታማሚ ወይም አዛውንት ይዛችሁ ከሆነማ ሌላ ምርጫ የላችሁም።

ጉድለቱ ደግሞ ይሄ ነው። ሹፌሩ አስጎብኚ አይደለም። በሩ ላይ ያወርዳችኋል፣ ራሱ መኪናው ጋ ይቀራል። ብዙዎቹ ጨዋ ሰዎች ናቸው። "ባያ" ብላችሁ ጥሯቸው፣ ወንድሜ እንደማለት ነው። ግን እንግሊዝኛቸው አጭር ነው፣ ታሪኩን ሊነግሯችሁም አይችሉም።

ከዚያ ሱቁ አለ። ዋጋው በጣም ከረከሰ ሌላ ቦታ የሚካካስ ነገር አለ ማለት ነው። የመጀመሪያው ጉዞዬ ላይ ከቁጥብ ሚናር እንደወጣን "አምስት ደቂቃ ብቻ፣ ማየት በነጻ ነው" ተባልኩ። ምንጣፍ ቤት ነበር። ሻይ መጣ፣ ምንጣፍ እየተዘረጋ ሄደ። ቀጥሎ የሻሽ እና የሹራብ ቤት፣ ቀጥሎ የእምነበረድ ቤት። ሹፌሩ ለሚያመጣው እንግዳ ሱቆቹ ይከፍሉታል። ሁለት ሰዓት ተኩል እዚያ ላይ ሄደ፣ ቀይ ግንቡ ስንደርስ ትኬት መሸጥ አቁመው ነበር። ከሌላ አገር ድረስ መጥቶ ግንብ በውጭ አይቶ መመለስ ያናድዳል። ለዚህ ነው ከመነሳታችሁ በፊት "ሱቅ የለም" የሚለውን በጽሑፍ አስፍሩ የምለው። በቃል የተባለ ነገር ቁጥብ ሚናር በር ላይ ይረሳል።

ከአስጎብኚ ጋር

ሁለተኛው ጉዞዬ ላይ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ያዝኩ። የሕንድ ቱሪዝም ሚኒስቴር ለአስጎብኚዎች ፎቶ ያለበት መታወቂያ ይሰጣል። ካርዱን ማየት መጠየቅ ነውር አይደለም። የሚደብቅ ካለ እሱን ትታችሁ ሂዱ። በየቅርሱ በር ላይ "ጋይድ፣ ጋይድ" እያለ የሚከተላችሁ ሁሉ ይሄን ካርድ አልያዘም።

ያንኑ ቁጥብ ሚናር በድጋሚ ሳየው ሌላ ቦታ መሰለኝ። መጀመሪያ ያየሁት 73 ሜትር የሚደርስ ቆንጆ ግንብ ነበር፣ ፎቶ አንስቼ ወጣሁ። አሁን ግን የዴልሂው ሱልጣን ቁጥቡዲን አይበክ እንደጀመረው፣ ተከታዩ ኢልቱትሚሽ ፎቆች እንደጨመረበት፣ በዙሪያው ያሉት ምሰሶዎች ከፈረሱ የሂንዱ እና የጄይን ቤተ መቅደሶች የመጡ መሆናቸውን በጣቴ እየተከተልኩ አየሁ። ግቢው ውስጥ የቆመው የብረት ምሰሶ 1,600 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ዝናብ እየመታው ዝገት አልበላውም፤ ምክንያቱም ብረቱ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ላዩ ላይ ስስ መከላከያ ሽፋን ይሠራል። ይሄን ሁሉ ሹፌር አይነግራችሁም።

እዚያ ላይ ለእኛ ሰው የምመክረው አንድ ጥያቄ አለ። አስጎብኚውን ስለ ያቁት ጠይቁት። የኢልቱትሚሽ ልጅ ራዚያ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1236 እስከ 1240 ዴልሂን የገዛች ሴት ናት። ጀማሉዲን ያቁት የሚባል ሐበሺ ባለሟል ነበራት። ሐበሺ በሕንድ ከእኛ አካባቢ የሄዱ ሰዎች ይጠሩበት የነበረ ስም ነው። ያቁት በባርነት የመጣ ሰው ነው፣ እሷ የቤተ መንግሥቱ ፈረሶች አለቃ አድርጋ ሾመችው፣ የቱርክ መኳንንት ይሄን አልታገሡም፣ አመጹ፣ እሱም ተገደለ። አባቷ የተቀበረው እዚያው ቁጥብ ግቢ ውስጥ ነው። ይሄን ታሪክ ሞቅ አድርጎ የሚነግራችሁ አስጎብኚ ከሆነ ቀኑ የተሳካ ነው። "እሱን ተዉት፣ እዚህ ጋ ፎቶ ላንሳችሁ" የሚል ከሆነ ግን በቃሉ ከሸመደደው ውጪ ብዙም የለውም። እኔ ሁለተኛውን ጉዞ ስይዝ ይሄን ጥያቄ አስቀድሜ በዋትስአፕ ልኬ ነው የመረጥኩት።

ሁለተኛው ቦታ አሮጌው ዴልሂ ነው። ቻንድኒ ቾክ ዋናው መንገድ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት የሞተር ተሽከርካሪ አይገባም። ስለዚህ የከፈላችሁበት መኪና ዳር ቆሞ ይጠብቃችኋል፣ እናንተ በእግር ወይም በፔዳል ሪክሾ ነው የምትገቡት። ጠባብ መንደሮች፣ ከላይ የተጠላለፈ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ጆንያ የተሸከሙ ሰዎች። ኻሪ ባኦሊ የሚባለው የቅመም ተራ ሲደርሱ የደረቀ በርበሬው ጉሮሮ ይዞ ያስላል፣ ኮረሪማ የሚመስለው ሂል በጆንያ ተከምሯል። መርካቶን የለመደ ሰው አይደነግጥም። ግን የትኛው መንገድ ወዴት እንደሚወስድ፣ ለሪክሾው ስንት እንደሚከፈል፣ የቱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ገበያውን ከላይ ማየት እንደሚቻል የሚያውቅ ሰው ካለ ግማሽ ቀን የሚፈጀው በሁለት ሰዓት ያልቃል።

አስጎብኚ ስላለ ግን ሱቅ ቀረ ማለት አይደለም። ኮሚሽኑ ለእሱም አለ። ቁጥብ ሚናር ላይ አወጣችኋለሁ የሚል ካለም አትመኑት፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1981 በደረሰው አደጋ ብዙ ሰው ከሞተ ወዲህ ውስጡ ለጎብኚ ዝግ ነው።

ሌላ ደግሞ፣ ሆስፒታሎች ለታካሚ የሚያቀርቡት አማርኛ አስተርጓሚ አለ። አንዳንዱ "እኔ አስጎበኛችኋለሁ" ይላል። ቋንቋው ስለሚቀል ደስ ይላል፣ አሮጊት እናት ይዛችሁ ከሆነ ጥሩ ነው። ግን ታሪኩን ስለሚያውቅ ሳይሆን አማርኛ ስለሚችል እንደቀጠራችሁት አውቃችሁ ክፈሉት።

በሜትሮ

በጣም ርካሹ ይሄ ነው። ቢጫው መስመር ቁጥብ ሚናርን እና ቻንድኒ ቾክን በቀጥታ ያገናኛል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብትሄዱ እንኳን 100 ሩፒ አይሞላም። ንጹሕ ነው፣ ትራፊክ የለበትም። የመጀመሪያው ፉርጎ ለሴቶች ብቻ ስለሆነ ብቻችሁን የምትሄዱ እህቶች እሱን ያዙ። ሲገቡ ቦርሳ ይፈተሻል፣ ወረፋ አለው። ሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ላይ ግን አይሞከርም።

ጣቢያው ቅርሱ በር ላይ አያደርሳችሁም። ከዚያ በባጃጅ ነው። ባጃጅ የምንለው ስም የመጣው ከሕንዱ አምራች ነው፣ እነሱ ግን "አውቶ" ነው የሚሉት። በኡበር ወይም በኦላ ከጠራችሁ ዋጋው ስልክ ላይ ይታያል፣ ክርክር የለም።

ኒው ዴልሂ ባቡር ጣቢያ አካባቢ "መንገዱ ተዘግቷል፣ ወደ መንግሥት ቱሪስት ቢሮ ልውሰዳችሁ" የሚል ቢመጣ አትከተሉት። ቢሮው የመንግሥት አይደለም፣ ውድ ፓኬጅ የሚሸጡበት ነው።

ሜትሮውን የምመክረው ጉልበት ላላቸው ሁለት ሦስት ሰዎች ነው። የቡድን አውቶቡስም አለ፣ ርካሽ ነው፣ ግን የአርባ ሰው ሽንት ቤት እየጠበቁ ቀን ማሳለፍ ለእኔ አልሆነልኝም።

ዋጋ ስታነጻጽሩ

አንዱ ፓኬጅ ከሌላው ረክሶ ሲታያችሁ መግቢያ ትኬት ተካቶ እንደሆነ እዩ። የውጭ ዜጋ ቁጥብ ሚናር ለመግባት በጥሬ ገንዘብ 600፣ በኦንላይን 550 ሩፒ ይከፍላል። የሙጋሉ ንጉሥ የሁማዩን መቃብርም እንደዚያው። ቤተሰብ ከሆናችሁ ይሄ ተደምሮ ከመኪናው ኪራይ ሊበልጥ ይችላል። በሌላ በኩል ኢንዲያ ጌት፣ የጋንዲ አስከሬን የተቃጠለበት ራጅ ጋት፣ ሎተስ ቤተ መቅደስ እና ባንግላ ሳሂብ የተባለው የሲኮች ቤተ ጸሎት በነጻ ናቸው። ነጻ ቦታዎችን ብቻ ደርድሮ "መግቢያ ተካቷል" የሚል ፓኬጅ አለና ዝርዝሩን አንብቡ።

ቀኑንም ምረጡ። ሰኞ ቀይ ግንቡ፣ ሎተስ እና አክሻርዳም የተባለው የሂንዱ ቤተ መቅደስ ዝግ ናቸው። ዓርብ ቀትር ላይ ጃማ መስጊድ ለጎብኚ አይመችም። እሑድ ቻንድኒ ቾክ ላይ አብዛኛው ሱቅ ይዘጋል። ታጅ ማሃልን በዚያችው ቀን ደርሰን እንመለስ ለምትሉ፣ ታጁ ያለበት አግራ በመኪና አንድ መንገዱ ብቻ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይፈጃል፣ ታጁ ደግሞ ዓርብ ዝግ ነው። ወይ ዴልሂን ወይ አግራን ምረጡ፣ ሁለቱን በአንድ ቀን የሚሸጥላችሁን አትስሙት።

ጾም ላይ ከሆናችሁ ምግቡ እንዳያዘናጋችሁ። "ቬጅ" ማለት ሥጋ የለበትም ማለት ብቻ ነው። ወተት፣ አይብ፣ ጊ የሚሉት የነጠረ ቅቤ ሁሉ ይገባበታል። ዳል የሚሉትን የምስር ወጥ ስታዙ "ያለ ጊ፣ ያለ ክሬም" በሉ፣ ሮቲ የሚሉትን ቂጣም ቅቤ እንዳይቀቡት ንገሩ። አስጎብኚ ካለ ይሄን በሂንዲ እሱ ይንገርላችሁ።

ማን የቱን ይያዝ?

ታማሚ ወይም አዛውንት ካለ፦ መኪና ለሙሉ ቀን፣ አስጎብኚ ለቁጥብ ሚናር ብቻ። አሮጌውን ዴልሂ ዝለሉት፣ በእሱ ፋንታ የሁማዩን መቃብር አትክልት ውስጥ ተቀመጡ፣ ጥላና ጸጥታ አለ። ቤተሰብ ወይም አራት ጓደኛሞች ከሆናችሁ መኪናውንም አስጎብኚውንም ለሙሉ ቀን ያዙ፣ ለአራት ሲካፈል አይከብድም። ብቻችሁን ከሆናችሁ በሜትሮ ሂዱና ለአሮጌው ዴልሂ ብቻ የግማሽ ቀን አስጎብኚ ቅጠሩ። እንደገና ብሄድ እኔ የማደርገው ይሄንን ነው።

ቀብድ ከመላካችሁ በፊት በዋትስአፕ ይሄን ጻፉላቸው፦ "አራት ቦታ ብቻ፣ ሱቅ የለም፣ የአስጎብኚው መታወቂያ ፎቶ ይላክልን፣ መግቢያ ትኬትና የመኪና ማቆሚያ በማን ነው፣ ሰዓቱ ከሆቴላችን በር ይቆጠር።" የመነሻ ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉት፤ የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት እዚያ 8 ኤኤም ነው። በጽሑፍ ያልመለሰላችሁን ትታችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ።