ሶሱ በስሏል፣ መስተንግዶው ገና ነው፦ ምሳ በአዲሱ የፈረንሳይ ሬስቶራንት

የፈረንሳይ ወጥ ቤትን አቅም ለመመዘን ከእራት ይልቅ ምሳ ይሻላል። እራት ላይ ፎዋ ግራ (የሰባ ዳክዬ ጉበት)፣ ሎብስተርና ትረፍል የሚባለው ውድ እንጉዳይ አሉ፤ ሳህኑ ላይ ከተቀመጡ ብዙ ጉድለት ይሸፍናሉ። የምሳ ሜኑ ግን በሽንኩርት፣ በእንቁላል፣ በዓሣና በቅቤ ነው የሚሠራው፣ ዋጋውም ዝቅ ያለ ነው። እዚያ ላይ የሚፈተነው እጅ ነው። በቅርቡ የተከፈተው ይህ ቤት በምሳው ሲመዘን ወጥ ቤቱ ከተጠበቀው በላይ፣ አዳራሹ ደግሞ ከሚገባው በታች ሆኖ ተገኝቷል።

ሜኑው አጭር ነው፤ ለመክፈቻ ሁለት፣ ለዋና ምግብ ሁለት፣ ለማጣጣሚያ ሁለት ምርጫ፣ በመካከል ለፈለገ አይብ። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ ይኖራሉ፤ ለአዲስ ቤት ግን ትልቅ ብልህነት ነው። ዓሣ የሚያበስለው፣ ሥጋ የሚጠብሰውና ሶስ የሚሠራው ገና በደንብ አልተናበቡም። ምርጫው በበዛ ቁጥር እያንዳንዳቸው አስቀድመው የሚያሰናዱት ይበዛል፣ የተረፈውም ፍሪጅ ውስጥ ያድራል። ሁለት ሁለት ምርጫ ሲሆን ጠዋት የተዘጋጀው ለምሳ ያልቃል።

ዳቦው ባጌት፣ ረጅሙና ቀጭኑ የፈረንሳይ ዳቦ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ድንጋጌ ባህላዊ ባጌት ተብሎ የሚሸጠው ዳቦ ከዱቄት፣ ከውሃ፣ ከጨውና ከእርሾ እንዲሠራ፣ ሊጡም በየትኛውም ደረጃ በረዶ እንዳይሆን ያዛል። የዚህ ቤት ባጌት ያንን መንገድ የተከተለ ይመስላል፦ ቅርፊቱ ሲሰበር ይሰማል፣ ውስጡ ክሬም መልክ አለው፣ ቀዳዳዎቹም አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ናቸው። እኩል እኩል የሆነ ነጭ ስፖንጅ ቢሆን ኖሮ ሊጡ ተቻኩሎ መቦካቱን ይናገር ነበር። የገበታ ቅቤው ግን ከፍሪጅ በቀጥታ መጥቶ ዳቦውን ይቀዳደዋል። ከአገልግሎቱ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ማውጣት ብቻ ይበቃ ነበር።

ከመክፈቻዎቹ ኮንሶሜውን ምረጡ። ሲታይ ተራ መረቅ ነው፤ ሲሠራ ግን ትዕግሥት የሚጨርስ ነው። ለ1 ሊትር ቀዝቃዛ መረቅ 200 ግራም ያህል ጮማ የሌለው የተፈጨ ሥጋ፣ የሁለት እንቁላል ነጭ፣ በደቃቁ የተከተፈ ካሮትና ሽንኩርት ይቀላቀላል። እስኪሞቅ ድረስ የድስቱ ሥር እንዳይዝ ይማሰላል፤ እንቁላሉ መርጋት ሲጀምር ማማሰሉ ይቆማል። ነጩና ሥጋው ተያይዘው ላይ ላይ እንደ ክዳን ይንሳፈፋሉ፣ መረቁን የሚያደፈርሰውንም ሁሉ ይዘው ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል እሳቱ ዝግ ማለት አለበት። አንድ ጊዜ ገንፍሎ ከፈላ ክዳኑ ይበጣጠሳል፣ ድፍርሱም ተመልሶ ይገባል። እዚህ የቀረበው የሳህኑን ሥር የሚያሳይ ጥርት ያለ፣ ላዩ ላይ አንዲት የስብ ጠብታ የሌለበት፣ ጣዕሙም የጠለቀ ነበር። የጎደለው ሙቀት ነው፦ ጎድጓዳ ሳህኑ አልሞቀም። ቀጭንና ስብ የሌለው ፈሳሽ ቀዝቃዛ ሸክላ ላይ ሲያርፍ ወዲያው ለብ ይላል። የአንድ ሰዓት ድካም በአንድ ሳህን ሲበላሽ ያሳዝናል።

ሌላው መክፈቻ የሊክ (የባሮ ሽንኩርት) ሰላጣ ነው፤ ሰናፍጭ ያለበት ማጣፈጫ ፈስሶበታል፤ ደህና ነው።

ዓሣው የምሳው ዋና ነው። ቆዳው የተጠበሰ ሲ ባስ የተባለ የባሕር ዓሣ ከቤር ብላን ጋር ይቀርባል። ቤር ብላን ከፈረንሳይዋ ከተማ ከናንት አካባቢ፣ ከሎዋር ወንዝ የታችኛው ዳርቻ የመጣ የቅቤ ሶስ ነው። ዱቄት የለውም፣ እንቁላል የለውም፤ ስለዚህ የሚደበቅበት ቦታም የለውም። ሻሎት የሚባለው ትንሹ ሽንኩርት በደቃቁ ተከትፎ በ100 ሚሊ ሊትር ነጭ ወይንና በ50 ሚሊ ሊትር አቼቶ ይበስላል፤ ፈሳሹ ተንኖ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ሲቀር 200 ግራም ቀዝቃዛ ቅቤ በትንሽ በትንሹ ተቆርጦ እየተመታ ይገባል። ቅቤው ቀዝቃዛ የሚሆነው ቀስ ብሎ እንዲቀልጥና ስቡ በደቃቅ ጠብታ እንዲበተን ነው። ሶሱ ከ58 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ካለፈ ስቡ ተለይቶ ቢጫ ዘይት ሆኖ ላይ ይወጣል። ከቀዘቀዘ ደግሞ ይረጋል፣ እንደገና ሲሞቅም ይለያያል። ብዙ ቤቶች ይህን ፍርሃት ለመሸሽ ክሬም ይጨምራሉ፤ ሶሱ ይጸናል፣ የአቼቶው ስለት ግን ይደነዝዛል። ይህ ቤት አልሸሸም። ሶሱ ፈዛዛ ቢጫ፣ የማንኪያውን ጀርባ በስሱ የሚሸፍን፣ መጀመሪያ ቅቤ ኋላ ደግሞ ጥርት ያለ ኮምጣጣነት የሚሰጥ ነው። በተጨናነቀ የምሳ ሰዓት ይህን ሳያበላሹ ማቆየት ሙቀቱን በየደቂቃው የሚከታተል ሰው ይጠይቃል፣ ለዚያ ሰው ምስጋና ይገባዋል።

ዓሣውም በልኩ በስሏል። ቆዳው በደንብ ደርቆ መጥበሻው ላይ ሲያርፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኗል፤ ካልተጫነ ቆዳው ይኮማተርና መሐሉ ከመጥበሻው ይነሳል። አብዛኛው ብስለትም በቆዳው በኩል ነው የተከናወነው። ስህተቱ ሳህኑ ላይ መጣ፦ ሶሱ ከላይ ፈሰሰበት። እንደዚያ ተጠንቅቆ የተጠበሰ ቆዳ ሶስ ሲያገኘው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይለሰልሳል። ሶሱ ከሥር፣ ዓሣው ቆዳውን ወደ ላይ አድርጎ ከላይ መቀመጥ ነበረበት። እስኪያስተካክሉት ድረስ ስታዝዙ ሶሱን ለብቻው በትንሽ ዕቃ ጠይቁ፤ ወጥ ቤቱን የሚያስቸግር ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ዋና ምግብ ማግሬ ነው፤ የፎዋ ግራ ዳክዬ ፈረሰኛ። ከቆዳው ሥር ወፍራም ስብ ስላለው ቆዳው ሥጋውን ሳይነካ ይተለተላል፣ ቀዝቃዛ መጥበሻ ላይ በቆዳው በኩል ይቀመጣል፣ ከዚያም ዝግ ባለ እሳት 10 ደቂቃ ያህል ስቡ እየቀለጠ ይወጣል። ሲገለበጥ ከአንድ ሁለት ደቂቃ በላይ አይፈልግም። እዚህ እሳቱ ፈጥኗል፤ ቆዳው ጠቁሯል፣ ከሥሩ ግን ነጭና የሚታኘክ ስብ ቀርቷል። ሥጋው ግን በደንብ ስላረፈ ሲቆረጥ ሳህኑ ላይ ደም አልለቀቀም፤ ቀለሙም ከዳር እስከ ዳር እኩል ሮዝ ነው። በስኳርና በአቼቶ የተሠራው የብርቱካን ሶስም ልኩን የጠበቀ ነው፦ ስኳሩ ጠቆር እስኪል ተቃጥሎ ምሬት ስለያዘ እንደ ማርማላታ አይጣፍጥም።

አይቡ ፈረንሳዮች እንደሚያደርጉት ከማጣጣሚያው በፊት ይመጣል። ከቀረቡት ሦስቱ ሁለቱ ለስላሳ ናቸው፣ ከማቀዝቀዣ የወጡትም በጊዜ ነው። ቤቱ በቅቤው የረሳውን በአይቡ አስታውሷል።

ማጣጣሚያው ላይ የአዳራሹ ድክመት ወለል ብሎ ይታያል። ሱፍሌ፣ ኦቨን ውስጥ የሚነፋው የእንቁላል ማጣጣሚያ፣ አስቀድሞ ተሠርቶ አይጠብቅም፤ የእንቁላሉ ነጭ ተመትቶ ከክሬሙ ጋር እንደተዋሐደ ወደ ኦቨን ይገባል፣ ከኦቨን እንደወጣም ይበላል። ከዝግጅቱ ጋር 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ስለዚህ አስተናጋጁ ሱፍሌ ትፈልጉ እንደሆነ መጠየቅ ያለበት ዋናው ምግብ ሲታዘዝ ነው። እዚህ የሚጠየቀው የአይቡ ሳህን ከተነሳ በኋላ ነው፤ ጠረጴዛው ባዶውን ይጠብቃል፣ የወይኑ ብርጭቆ ያልቃል፣ ወደ ሥራ የሚመለሰው ሰው ሰዓቱን ማየት ይጀምራል። ሲደርስ ግን ያስደስታል፦ ቀጥ ብሎ ተነፍቷል፣ መሐሉም ክሬም እንደሆነ ነው። ቀጥ ብሎ የሚነሳው ዕቃው ከሥር ወደ ላይ ቅቤ ተቀብቶ ስኳር ሲነሰነስበትና ጠርዙ ሲጸዳ ነው፤ አንድ ቦታ ከያዘው ወደ ጎን ያዘነብላል። ቸኮል ያለ ሰው ክሬም ብሩሌ፣ ላዩ ላይ ስኳር የተቃጠለበትን ክሬም፣ ይዘዝ። ስኳሩ ስስ ነው፣ የተቃጠለውም ሊቀርብ ሲል ነው፤ ተቃጥሎ ፍሪጅ ውስጥ ቢቆይ እርጥበት ስቦ ሽሮፕ ይሆን ነበር።

ሌሎቹ የመስተንግዶ ጉድለቶችም ከዚሁ ዓይነት ናቸው። አንዱ ተመጋቢ ገና እየበላ የሌላው ሳህን ይነሳል፤ የቀረው ሰው እንዲጣደፍ ያደርገዋል። ሳህን የሚነሳው ሁሉም ሲጨርሱ በአንድ ላይ ነው። ቀይ ወይኑ በአዳራሹ ሙቀት ስለሚቀዳ አልኮሉ አፍንጫ ይይዛል፤ ከ15 እስከ 17 ዲግሪ ቢሆን ይበጀዋል። ጠርሙስ ካዘዛችሁ 10 ደቂቃ በበረዶ ባልዲ እንዲቆይ ጠይቁ። በብርጭቆ የሚቀዳው ነጩ ሙስካዴ ግን በልኩ ቀዝቅዟል፤ ቤር ብላን ከመጣበት አካባቢ የመጣ ስለሆነ ለዓሣው ከዚህ የተሻለ አትፈልጉ።

ለጠቅላላው ምሳ ሁለት ሰዓት ያዙ፤ ያን ያህል ከሌላችሁ መክፈቻና ዋናውን ብቻ ውሰዱ። አለርጂ ወይም የማትበሉት ነገር ካለ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ቦታ ስታስይዙ ተናገሩ፤ የኮንሶሜውና የብርቱካን ሶሱ መረቅ ቀድሞ የሚዘጋጅ ስለሆነ በሰዓቱ የሚቀየር ነገር የለም። ወንበር ስትይዙም አገልግሎቱ እንደተከፈተ ያለውን ሰዓት ምረጡ፤ ቤር ብላኑ ያኔ ገና ከእጅ የወጣ ነው፣ ማግሬውም እሳቱ ላይ ዝግ ብሎ ለመቆየት ጊዜ ያገኛል። ሱፍሌ ከፈለጋችሁ አስተናጋጁ እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ፤ ሜኑውን ስትመልሱ እዘዙ።