ጂኦካሺንግ በበረሃ፦ መተግበሪያው ለጀማሪ ይሆናል?
በጂፒኤስ እየተመሩ የተደበቀ ዕቃ የሚፈልጉበት የጂኦካሺንግ መተግበሪያ አጠቃቀሙ ቀላል ነው፤ በረሃ ላይ ግን ዝግጅት ይጠይቃል። የፍለጋው ክብደትና የመንገዱ አስቸጋሪነት ከ1 እስከ 5 ደረጃ ተሰጥቷቸዋል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም ከ2 ያልበለጡትን ምረጡ። ኔትወርክ ስለማይኖር ካርታውንና ፍንጩን ቀድማችሁ አውርዱ። ይህ ለከፋይ አባላት ብቻ መሆኑ ትልቁ ጉድለቱ ነው፤ በጣም የሚያስፈልገው እዚሁ ነውና። ወደ ዕቃው የሚመራችሁ የመተግበሪያው ቀስት 10 ሜትር ያህል ሊስት ይችላል፤ ገደል ሥር ደግሞ ሲግናሉ ከዓለት ጋር እየተጋጨ ስለሚመለስ ይብሳል። ስትቃረቡ ስልኩን ተዉትና ሰው የደረደረው የሚመስል ድንጋይ ፈልጉ። ሥሩ ጊንጥ ሊኖር ስለሚችል ከእጃችሁ በፊት በትር ይግባ። ፀሐይ ላይ የጋለ ስልክ ራሱን ያጠፋል፤ ጥላ ውስጥ ያዙት። ዕቃው ውስጥ ባለው የአግኚዎች መዝገብ ላይ ለመፈረም እስክሪብቶ አትርሱ፤ ትንንሾቹ ዕቃዎች ውስጥ አይገኝም።