በፓሪስ ችሎት ለወራት ተሰይሜ፦ የ«ዊ. ዘ ሪቮሉሽን» ጌም ግምገማ

አብዛኛውን ጌም ጨርሼ አጠፋዋለሁ። ይሄኛው ግን ወራት አልፈውም ከላፕቶፔ ላይ አልወረደም። ዙሩን ጨርሼ እንደገና ጀምሬዋለሁ፤ አሁንም አልፎ አልፎ ማታ ከፍቼ አንድ መዝገብ ሳላይ አልተኛም። ስለዚህ ይህ ገና ሳጥኑን የከፈተ ሰው አስተያየት አይደለም። የከረመ ተጫዋች ምስክርነት ነው።

ጌሙን የሠራው ፖሊስላሽ የተባለ የፖላንድ ስቱዲዮ ነው። ለኮምፒውተር የወጣው እ.ኤ.አ. በማርች 2019 ሲሆን በዚያው ዓመት ለፕሌይስቴሽን፣ ለኤክስቦክስና ለኒንቴንዶ ስዊችም ደርሷል። ቦታው ፓሪስ፣ ዘመኑ የፈረንሳይ አብዮት ነው። እናንተ አሌክሲስ ፊዴል የተባለ ዳኛ ናችሁ። መጠጥና ቁማር የሚወድ፣ ቤተሰብ ያለው፣ የአብዮት ፍርድ ቤት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ተኩስ የለም፣ ሩጫ የለም። ሥራችሁ ማንበብ፣ መጠየቅና መፍረድ ነው።

ችሎቱ እንዲህ ይሄዳል። የክስ መዝገብ ይቀርብላችኋል፤ ተረጋግታችሁ ታነቡታላችሁ። ከዚያ የጥያቄ ሰሌዳ ይከፈታል። ከመዝገቡ ያገኛችሁትን ፍንጭ ከሚመለከተው ጉዳይ ጋር ታገናኛላችሁ። ይህ የወንጀሉን መነሻ ያሳያል? ያኛው ስለ ተጎጂው ነው? በትክክል ካገናኛችሁ ጥያቄ ይወጣላችኋል። ስህተት ካበዛችሁ ሳይጠየቁ የሚቀሩ ጥያቄዎች ይኖራሉ። ተከሳሹ ፊት ለፊታችሁ ቆሟል። ጁሪው፣ ማለትም ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም የሚሉት ዜጎች፣ ያዳምጣል። በመጨረሻ ከሦስት አንዱን ትፈርዳላችሁ፦ በነፃ ማሰናበት፣ እስር ወይም ጊሎቲን፣ ያ አንገት የሚቀላው ምላጭ።

የጌሙ ጉልበት ያለው ጥያቄዎቹ ላይ ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ የጁሪውን ሐሳብ ወደ አንዱ ፍርድ ይገፋዋል። አንዱ ተከሳሹን ያድናል፣ ሌላው ያስገድለዋል። ወደየት እንደሚገፋ ደግሞ ለእናንተ ይታያችኋል። እና ሐሰተኛ ምስክር ማቆም አያስፈልጋችሁም። ማስረጃ መደበቅም አያስፈልግም። የሚያድነውን ጥያቄ ሳትጠይቁ ማለፍ ብቻ ይበቃል። ጁሪው በገዛ ፈቃዱ «ጥፋተኛ ነው» ይላል፣ እናንተም የጁሪውን ሐሳብ አከበርን ትላላችሁ። ወረቀቱ ላይ ሁሉም ነገር በሥርዓቱ የተካሄደ ነው። ፍርድ እንዴት እንደሚበላሽ በዚህ ግልጽነት ያሳየኝ ሌላ ጌም የለም።

ሌላው ነገር የሚመጣው ከችሎቱ ውጭ ካሉ ሰዎች ነው። ተራው ሕዝብ፣ አብዮተኞቹና መኳንንቱ ስለ እናንተ ያላቸው አመለካከት ይለካል። ፍርዱ አንዱን ደስ ያሰኛል፣ ሌላውን ያስቆጣል። ከአንዳቸው ጋር ጨርሶ ከተጣላችሁ የዳኛው ነገር አበቃ። የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ሰው የሚጫወተው መዝገቡን አንብቦ ነው። ቀስ በቀስ ግን ዓይን ከመዝገቡ ይነሳና ወደ መለኪያው ይሄዳል። ዛሬ አብዮተኞቹ አኩርፈዋል፤ እንግዲያው ዛሬ የቀረበው ሰው ዕድለ ቢስ ነው። ይህ ለውጥ ማንም ሳያዝዝ፣ በራሱ ጊዜ ይመጣል። ደጋግሞ የተጫወተ ሰው ብቻ ነው መቼ እንደጀመረ ልብ የሚለው።

በሁለተኛው ዙር የተለየ ነገር ሞከርኩ። መለኪያውን ትቼ በመዝገቡ ብቻ ልፍረድ አልኩ። ማስረጃ ያለው ይቀጣል፣ የሌለው ይሄዳል። አብዮተኞቹ ወዲያው ፊታቸውን አዞሩ። ሕዝቡም ደም ሲጠብቅ ነፃ ፍርድ ሲሰማ አልወደደልኝም። ብዙ ሳልቆይ መለኪያው አፋፍ ላይ ደረሰ። ከዚያ በኋላ የነበረኝ ምርጫ ወይ ንጹሕ ሰው መስጠት፣ ወይ ራሴ መሄድ ነበር። አንዳንዶች ይህን የጌሙ ድክመት ነው ይላሉ፤ ለሐቀኛ ሰው መንገድ አልሰጠም ብለው። እኔ አልስማማም። በዚያ ዘመን በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ምን ያህል መንገድ ነበረው?

እውነተኛውን ታሪክ ለማንበብ የገፋፋኝም ይሄው ጥያቄ ነው። የአብዮት ፍርድ ቤቱ የተቋቋመው ማርች 10 ቀን 1793 ነው። አምስት ዳኞች፣ አሥራ ሁለት ጁሪዎችና አንድ ዐቃቤ ሕግ ነበሩት። ይግባኝ የሚባል ነገር የለም። ጁሪዎቹ ድምፅ የሚሰጡት ጮክ ብለው፣ ሕዝብ በሞላበት አዳራሽ ነበር። እስቲ አስቡት። ውጭ ሕዝቡ «ከዳተኞች ይሙቱ» እያለ፣ ከመሀል ተነስቶ «ይህ ሰው ጥፋት የለበትም» የሚል ማን ነው?

በጁን 10 ቀን 1794 ደግሞ ባሰበት። በአብዮቱ የዘመን አቆጣጠር የፕሬሪያል 22 ሕግ የሚባለው ወጣ። ተከሳሽ ጠበቃ ማቆም ቀረበት። በቂ ማስረጃ ካለ ምስክር መስማት አያስፈልግም ተባለ። ፍርዱም ሁለት ብቻ ሆነ፦ ነፃ መውጣት ወይም ሞት። ከዚያ ወዲያ ባሉት ሰባት ሳምንታት ገደማ በፓሪስ ብቻ ከ1,300 የሚበልጡ ሰዎች ጊሎቲን ላይ ወጡ። ጌሙ ውስጥ መሀል ላይ ያለችው የእስር ምርጫ ታዲያ ትልቅ ነገር ናት። ስንት ጊዜ መሸሸጊያ ሆናኛለች። አላስገደልኩም፣ አላስቆጣሁም፣ ብቻ አሰርኩ። እውነተኞቹ ዳኞች በመጨረሻው ሰዓት ይህቺም አልነበረቻቸውም።

ጌሙ ታሪኩን ቃል በቃል አይከተልም። ንጉሥ ሉዊ 16ኛ እናንተ ፊት ለፍርድ ይቀርባል። በታሪክ ግን ንጉሡን የዳኘው ብሔራዊ ኮንቬንሽኑ፣ የጊዜው ምክር ቤት፣ ነው። ጃንዋሪ 21 ቀን 1793 ሲገደል ይህ ፍርድ ቤት ገና አልተቋቋመም። ታሪክ አዋቂ ሰው እዚህ ጋ ሊከፋው ይችላል። እኔ አልከፋኝም፤ የንጉሡ ችሎት በደንብ የተሠራ ነው። የአብዮቱ መሪዎች ሮቤስፒየርና ዳንቶንም አሉ። ሁለቱም በእውነተኛው ታሪክ መጨረሻቸው ያው ምላጭ ነበር፤ ዳንቶን በኤፕሪል 1794፣ ሮቤስፒየር በጁላይ። ለሮቤስፒየር ችሎት እንኳ አልተደረገም። ማንነቱ ተረጋግጦ ብቻ ተወሰደ።

ግን ከወራት በኋላ ከአእምሮዬ ያልወጡት እነዚህ ትልልቅ ስሞች አይደሉም። ስማቸው ታሪክ ውስጥ የሌለ ተራ ሰዎች ናቸው። የሰፈር ጠብ፣ የገንዘብ ጉዳይ፣ የቅናት ወንጀል ይዘው የሚመጡት። ጉዳያቸው ከአብዮቱ ጋር ምንም አያገናኘውም፣ ግን አብዮት ፍርድ ቤት ቆመዋል። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይሉ የነበረው ይህንኑ ነው። ንጉሡ ቢያንስ ሲከራከርለት የዋለ ጠበቃ ነበረው። እነዚህ ሰዎች ግን ያሏቸው እናንተ የምትጠይቋቸው ሦስት አራት ጥያቄዎች ብቻ ናቸው።

አንድ ምሽት አጎቴ ቤት መጥተው ከኋላዬ ቆመው ሲያዩ ቆዩ። በ1969 አዲስ አበባ ውስጥ ተማሪ ነበሩ።

«ምስክር ይቀርባል?» አሉኝ።

«አንዳንዴ ይቀርባል፣ ጋሼ።»

«መዝገብስ? ታነበዋለህ?»

«አዎ፣ ሳላነብ አልፈርድም።»

ትንሽ ዝም አሉና «እኛ ጋ መዝገብም አልነበረ» ብለው ሄደው ተቀመጡ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም፣ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

እውነታቸውን ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ምሽት 60 ሰዎች ያለ ምንም ፍርድ ተረሸኑ። በቀይ ሽብር ጊዜ «ነፃ እርምጃ» ሲባል ዳኛም ወንበርም አልነበረም። በአንጻሩ የደርግ ባለሥልጣናት በተራቸው ሲከሰሱ ጠበቃ ቆሞላቸው፣ ምስክር ተሰምቶባቸው፣ ሙግቱ 12 ዓመት ገደማ ፈጅቶ ነው በ1999 ጥፋተኛ የተባሉት። ፓሪስም ውስጥ የሆነው ይመሳሰላል። ሺዎችን የከሰሰው ዐቃቤ ሕግ ፉኪዬ ታንቪል በ1795 ራሱ ተከሳሽ ሆኖ ቆመ። እኔ ሕጉንና የበላዮቼን ትእዛዝ ነው የፈጸምኩት ብሎ ተከራከረ። ሜይ 7 ቀን እሱም ጊሎቲን ላይ ወጣ። በዚያው ወር መጨረሻ ፍርድ ቤቱ ራሱ ተዘጋ። አማርኛ አንባቢ ይህን ጌም ሲጫወት ከሌላው ዓለም ሰው የበለጠ እንደሚሰማው አምናለሁ።

ሞት ከፈረዳችሁ ጌሙ አያልፋችሁም። አደባባዩ ላይ ወጥታችሁ ለሕዝቡ ንግግር ታደርጋላችሁ። ምላጩንም የምትለቁት እናንተው ናችሁ። በመጀመሪያ ከብዶኝ ነበር። ከወራት በኋላ እጄ ለመደው፤ ይህ ደግሞ ከምላጩ በላይ አስደንግጦኛል።

መልኩ ያምራል። ፊቶቹ በሰያፍ የተቆረጡ ይመስላሉ፣ ሹል ሹል ናቸው፤ ቀለሙ ግን የዚያን ዘመን የዘይት ቅብ ሥዕሎች ያስታውሳል። ከችሎት በኋላ ማታ ከቤተሰብ ጋር የምታሳልፉበት ክፍል አለ። ሚስት፣ አባት፣ ልጆች። ምሽቱን ከማን ጋር እንደምታሳልፉ ትመርጣላችሁ፣ የቀረው ያኮርፋል። ቀላል ናት፣ ግን ቦታዋ ነው። ቀን የፈረዳችሁት ነገር ማታ ቤት ገብቶ ማዕዱ ላይ ይቀመጣል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ጌሙ በችሎቱ አልረካም። ወደፊት በሄዳችሁ ቁጥር ሌላ ሌላ ነገር ይጨምራል። የፓሪስ ካርታ ይመጣና ሰላዮቻችሁን ሰፈር ለሰፈር ታሰማራላችሁ። ሰው ለማግባባት የንግግር ፉክክር አለ። ቆይቶ ደግሞ ጦር ማዝመት ሁሉ ይመጣል። ካርታው መጀመሪያ ላይ ደስ ይላል፤ ሥልጣን ምን እንደሚመስል ያሳያል። ውጊያው ግን ለእኔ ምንም አልሆነልኝም። ደካማ ነው፣ ረጅም ነው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከመዝገቡ ያርቃል። ዳኛ ሆኜ ገብቼ ጄኔራል ሆኜ ስወጣ ታሪኩ እጄ ላይ ላላ። ሁለተኛውን ዙር ስጫወት ያን ክፍል እንደምንም ነው የጨረስኩት። ስቱዲዮው ያንን ሁሉ ጉልበት ተጨማሪ መዝገቦች ላይ ቢያፈስሰው ኖሮ እንዴት ያለ ጌም ይሆን ነበር!

ሁለተኛው ቅሬታዬ መለኪያው ላይ ነው። ፍርዱን ከመስጠታችሁ በፊት ማን እንደሚደሰትና ማን እንደሚቆጣ ጌሙ ያሳያችኋል። ይህ ለጀማሪ ይጠቅማል። ለቆየ ተጫዋች ግን ውጥረቱን ይገድላል። የሚደበቅበት ምርጫ ቢኖር ብዬ ስንቴ ተመኝቻለሁ። እውነተኛ ዳኛ ሕዝቡ ምን እንደሚል ገምቶ ነው የሚፈርደው፣ ቁጥር አይቶ አይደለም። እኔ አሁን የማደርገው መዝገቡን አንብቤ፣ ፍርዴን ወረቀት ላይ ጽፌ፣ ከዚያ ወደ መለኪያው መዞር ነው። ወረቀቱ ላይ ከጻፍኩት ምን ያህል እንደምሸሽ ይታየኛል። ሞክሩት።

ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ ጥቂት ነገር ልጨምር። ጌሙ አማርኛ የለውም፣ ጽሑፉ ደግሞ ብዙ ነው። እንግሊዝኛችሁ ጋዜጣ የሚያስነብብ ካልሆነ መዝገቡ ይከብዳችኋል፣ መዝገቡ ካልገባችሁ ደግሞ ምንም አልቀረላችሁም። ስቲም በተባለው የኢንተርኔት ጌም መሸጫ ላይ ቅናሽ ስለሚደረግበት ሙሉ ዋጋ ለመክፈል አትቸኩሉ። ፈጣን ጨዋታ የለመደ ሰው ይሰለቸዋል፤ ለእሱ አልመክርም። ቤት ውስጥ ትንንሽ ልጆች ካሉ አደባባዩ ላይ ያለው ትዕይንት ለእነሱ አይሆንም። ሕግ ለሚማሩ፣ ታሪክ ለሚወዱ፣ ቀስ ብለው ማንበብ ለማይሰለቻቸው ግን ያለ ማመንታት ግዙት እላለሁ። በአንድ ማታ አንድ የችሎት ቀን ብቻ ተጫወቱ። ከዚያ በላይ ከሄዳችሁ መዝገቦቹ እርስ በርስ ይደባለቁና ማንን ለምን እንደፈረዳችሁበት ትረሳላችሁ።