«ይህቺ ትነቀል፤ ያቺን ግን እንሞክራት» ላለችኝ ዶክተር

ሰሞኑን ያገኘኝ ሰው ሁሉ «ጋሼ፣ ጥርስዎ እንዴት ሆነ?» ስለሚለኝ አንዴ ጽፌው ልገላገል። የጥርስ ሐኪሜንም በዚሁ ላመስግን።

ነገሩ የጀመረው ለቅሶ ቤት ነው። ቆሎ ዞረ፤ ዘግኜ እያወራሁ ከታች በቀኝ በኩል ቀጭ አለብኝ። ሽምብራ መስሎኝ ነበር። ምላሴን ባዞር የመንጋጋዬ ግማሽ የለም። ነርቩ ከሦስት ዓመት በፊት ስለወጣ ምንም አላመመኝም። የሚወጣውን ብር ሳስብ ግን ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አጠገቤ የተቀመጡ እናት «አይዞህ ልጄ፣ የማይሄድ የለም» ብለው አጽናኑኝ።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ሩት ካናሉ፣ ማለትም ነርቩን አውጥቶ ስሩን የመድፈኑ ሕክምና፣ ሲያልቅ በጊዜያዊ ሙሌት ደፍነው «ክራውን ያስፈልጋታል፣ ተመለስ» ብለውኝ ነበር፤ ክራውን ማለት ጥርሱን ከላይ የሚከድን ሽፋን ነው። ሕመሙ ቆመ፣ እኔም ቀረሁ። ከላይ በግራ ያለችውንም እንዲሁ አድርጌ ትቻታለሁ።

ከተሰበረች በኋላ ሁለት ቦታ ሄድኩ። አንዱ ገና አፌን እንደከፈትኩ «ሁለቱም ይነቀሉ» አለ። ሌላው ራጅ እንኳ ሳያነሳኝ ለሁለት ክራውን ዋጋ ነገረኝ። የሥራ ባልደረባዬ ነው ወደዚህች ዶክተር የላከኝ።

በመጀመሪያው ቀን ያደረገችው ነገር ማየት ብቻ ነው። ራጅ አነሳች፣ አሮጌውን ሙሌትና የበሰበሰውን ጠርጋ አወጣች፣ ከዚያ በቀጭን መለኪያ ድዱን ዙሪያውን እየነካካች ቁጥር አስጻፈች። የላይኛዋ ጥርስ ላይ መለኪያው በአንድ ጠባብ ቦታ ብቻ ጥልቅ ብሎ ገባ። «ጋሼ፣ የዚህች ስሯ ቁልቁል ተሰንጥቋል። ክራውን ብሠራልዎት ገንዘብዎን መቅበር ነው፤ ይህቺ ትነቀል። የታችኛዋን ግን እንሞክራት» አለችኝ። ለሁለት ክራውን ልታስከፍለኝ ትችል ነበር እኮ!

«ነርቩ ከወጣ ጥርሱ ይደርቅና ይሰበራል» ሲባል ሰምታችኋል። እኔም እንደዚያ ነበር የማምነው። ዋናው ምክንያት ግን የጥርሱ አካል ማለቁ ነው አለችኝ። መጀመሪያ ብስባሹ ይበላዋል፤ ከዚያ እስከ ስሩ ለመድረስ መሐሉ ይቦረቦራል፤ የሚቀረው ስስ ግድግዳ ነው። መንጋጋ ደግሞ ሸክሙ ከባድ ነው፤ ባኘክን ቁጥር ግድግዳዎቹን ወደ ውጭ ይፈለቅቃቸዋል። የፊት ጥርስ አንዳንዴ በሙሌት ብቻ ሊከርም ይችላል፤ የኋላውን ግን ከላይ የሚከድነው ነገር ያስፈልገዋል።

ክዳኑም በሙሌት ላይ ብቻ ከተቀመጠ አይበረክትም። ከድድ በላይ ዙሪያውን ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ጤነኛ ጥርስ ተርፎ ክራውኑ እሱን ጨብጦ መያዝ አለበት። የገበሬ ልጅ ነኝና ወዲያው ወገል ትዝ አለኝ፤ ድግሩን ከሞፈሩ ጋር ጥርቅም አድርጎ የሚይዘው የብረት ቀለበት። ስነግራት ሳቀች፤ «ለሌሎች ታካሚዎችም እንዲህ ብዬ ነው የማስረዳው» አለች።

የእኔ በአንድ በኩል የተሰበረው እስከ ድድ ድረስ ስለነበር ያ ሁለት ሚሊ ሜትር አልተገኘም። ስለዚህ ሥራው ረዘመ። ምራቅ ለረጅም ጊዜ ሲገባበት ስለቆየ ሩት ካናሉን እንደገና ሠራችው፤ ምራቅ እንዳይነካውም ጥርሷን ብቻ የሚያወጣ ቀጭን ጎማ አፌ ላይ ወጠረች። ሰፊው ስር ውስጥ ፋይበር ፖስት የሚሉትን ቀጭን ዘንግ አስገብታ ላዩን በሙሌት ገነባችው። ፖስቱ ጥርሱን ያጠነክረዋል ብዬ ስደሰት «አያጠነክረውም፣ ሙሌቱን ነው የሚይዘው» ብላ ደስታዬን ቀነሰችው። በመጨረሻ ያ ሁለት ሚሊ ሜትር እንዲገኝ በተሰበረው በኩል ድዱንና ከሥሩ ካለው አጥንት ጥቂት ቆርጣ ዝቅ አደረገችው። ማደንዘዣው ሲለቅ ያቺ ማታ ከባድ ነበረች፤ አልዋሽም። እስኪድን ስድስት ሳምንት ጊዜያዊ ክራውን አድርጌ በግራ ብቻ ሳኝክ ከረምኩ።

ዚርኮኒያ ከሚባል ጠንካራ ሴራሚክ የተሠራው ዋናው ክራውን ሲመጣ ባለቀለም ወረቀት እያስነከሰች ከፍ ያለውን ቦታ አራት ጊዜ ሞረደች። እኔ ገና በሁለተኛው «በቃ፣ ደህና ነው» ብያት ነበር። ከገባልኝ ስምንት ወር ሆነው፤ እስካሁን ምንም አላስቸገረኝም። የላይኛዋን ያው ነቀለችልኝ፤ ለክፍተቱ ምን እንደማደርግ ገና አልወሰንኩም።

ርካሽ አይደለችም። ቀጠሮ ላይም ግማሽ ሰዓት ማስጠበቅ ልማዷ ነው፤ ጋዜጣ ይዛችሁ ሂዱ። ግን እያንዳንዱን ደረጃ ከነዋጋው ቀድማ ጽፋ ትሰጣለች፤ ሊከሽፍ የሚችለውንም ሳትደብቅ ትናገራለች። ዶክተር፣ እጅሽ ይባረክ! ቆሎ በዚያ በኩል እንዳልቆረጥም ያልሽኝን እያከበርኩ ነው፤ ባለቤቴም ትጠብቀኛለች።

ሩት ካናል ተሠርቶላችሁ «ሕመሙ ቆሟል» ብላችሁ እንደ እኔ የተቀመጣችሁ ካላችሁ ስሟንና ስልኳን በውስጥ መስመር እሰጣችኋለሁ፤ እዚህ እንዳልጽፈው ለምናኛለች። ስትሄዱ የድሮውን ራጅ አትርሱ። እኔ ረስቼው ከመንገድ ተመልሻለሁ።