ጃጓር ኢ-ታይፕ 2+2 ወይስ ጄንሰን ኢንተርሴፕተር? የድሮ እንግሊዝ ሠራሽ ጂቲ በሐራጅ ለሚገዛ

እንግሊዝ አገር በሚካሄድ የድሮ መኪና ሐራጅ ላይ ጃጓር ኢ-ታይፕ 2+2 (ከፊት ሁለት፣ ከኋላ ሁለት ትንንሽ መቀመጫ ያለው) እና ጄንሰን ኢንተርሴፕተር በአንድ ቀን መቅረባቸው የተለመደ ነው። ሁለቱም ለገበያ የወጡት በ1966 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ሁለቱም ሰውና ሻንጣ ጭነው ረጅም መንገድ በፍጥነት እንዲሄዱ የተሠሩ ናቸው፤ ጂቲ ማለትም ይኸው ነው። የመዶሻ ዋጋቸውም (ሐራጁ የሚቆምበት ዋጋ) ብዙ ጊዜ ይቀራረባል። ቤት ከገቡ በኋላ የሚያስወጡት ገንዘብ ግን ፈጽሞ አይመሳሰልም።

ሐራጅ ላይ መኪና ነድቶ መሞከር የለም። በዕይታው ቀን በር መክፈት፣ ኮፈን ማስከፈት፣ ሥሩ ገብቶ ማየት፣ ሠራተኛው ፈቃደኛ ከሆነ ደግሞ ሞተር ማስነሳት፤ ይኸው ነው። ስለዚህ በፈረስ ጉልበትና በውበት አናወዳድራቸውም። በሽታው በግማሽ ሰዓት ውስጥ፣ በእጅ ባትሪ፣ በትንሽ ማግኔትና መሬት ላይ በሚነጠፍ ካርቶን ሊገኝ ይችላል? ከተገኘስ መለዋወጫው አለ? ማወዳደሪያችን ይህ ነው።

ኢ-ታይፕ፦ ኮፈኑ ሥር ያለው ፍሬም

ኢ-ታይፕ በ1961 ጄኔቫ ላይ ሲታይ ባለ ሁለት መቀመጫ ነበር። 2+2ው የመጣው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው፤ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት በ9 ኢንች ረዝሞ፣ ጣሪያውም ከፍ ብሎ። መልኩ ተበላሸ የሚሉ ብዙ ናቸው፤ በዚሁ ምክንያት ከባለ ሁለት መቀመጫው በረከሰ ዋጋ ይሸጣል። ለገዥ ይህ ሐሜት ትርፍ ነው። ሞተሩ ያው 4.2 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ነው፤ ማኑዋሉ ካምቢዮም ከአንደኛ ማርሽ ጀምሮ ሲንክሮ (ማርሹ ሳይንኳኳ እንዲገባ የሚያደርገው) አለው፤ የቀድሞው 3.8 አንደኛው ላይ አልነበረውም። አውቶማቲክ የመረጡም ነበሩ፤ አውቶማቲኮቹ ዛሬ ይበልጥ ይረክሳሉ።

የመሃሉ ቦዲ ያለ ሻንሲ የሚቆም የላሜራ ሳጥን ነው። ሞተሩንና የፊት እግሩን የሚሸከመው ግን ከቀጫጭን አራት ማዕዘን ቱቦዎች የተሠራ፣ ከሳጥኑ ጋር በብሎን የታሰረ ፍሬም ነው። ቱቦዎቹ ዝግ ስለሆኑ ዝገት የሚበላቸው ከውስጥ ነው፤ ከውጭ ቀለማቸው አዲስ ሊመስል ይችላል። ኮፈኑ ሲከፈት መላው አፍንጫ ወደ ፊት ይገለበጣልና ባትሪውን ቱቦዎቹ ከሳጥኑ ጋር ወደሚገናኙበት ያብሩ። የተጣመመ ቱቦ፣ ከላይ የተበየደ ልጣፍ፣ ወይም ሌላው ቦታ ላይ የሌለ ወፍራም ጥቁር ቀለም ካዩ ፍሬሙ አልቋል ብለው ያስሉ። ይህ ፍሬም ይቀየራል እንጂ አይጠገንም፤ ለመቀየር ደግሞ ሞተሩ መውረድ አለበት።

እዚያው ሳሉ ቁጥሮቹን ያመሳክሩ። የሻንሲ ቁጥሩ ከፊት በቀኝ በኩል ከአሞርዛተሩ ማሰሪያ በላይ ፍሬሙ ላይ ተቀርጿል፤ የሞተሩ ቁጥር ከዘይት ማጣሪያው በላይ ብሎኩ ላይ ይገኛል። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበሩት ቁጥሮች ጃጓር ራሱ በሚሰጠው የቅርስ ምስክር ወረቀት ላይ ይሰፍራሉ። ሦስቱ ካልተስማሙ መኪናው ይነዳል፤ ዋጋው ግን መውረድ አለበት።

ከዚያ ተንጋልለው ወደ ኋላ ይመልከቱ። የኋላ ዲስኮቹ ቸርኬው ውስጥ ሳይሆኑ ዲፈረንሲያሉ ጎንና ጎን ተለጥፈው ነው ያሉት። የዲፈረንሲያሉ የዘይት መከላከያ ጎማ ሲያልቅ ዘይቱ በቀጥታ ዲስኩ ላይ ይፈሳል፤ ፍሬኑ ይደክማል። ሥራው በአግባቡ ይሠራ ከተባለ ዲፈረንሲያሉ፣ ፍሬኑና የኋላ እግሩ ከነማቀፊያቸው ይወርዳሉ። የጠቆረ፣ በዘይት የራሰ ዲስክ ካዩ ይህን ወጪ ከጨረታው ጣሪያ ላይ ይቀንሱ። ፍሪሲዮንም እንዲሁ ነው፤ ዕቃው ውድ ሆኖ ሳይሆን ሞተሩና ካምቢዮው አብረው ካልወጡ ስለማይደረስበት ጉልበቱ ያስከፍላል።

ከሞተሩ ጀርባ ዘይት ማንጠባጠቡ አያስደነግጥ፤ የክራንኩ የኋላ መከላከያ በገመድ መልክ የተሠራ ነበርና ጠብታ ከልጅነቱ አብሮት አለ። ኩሬ ከሠራ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያን ገመድ ለመለወጥ ክራንኩ መውጣት አለበት። ሲሞቅ በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ የዘይት ግፊቱ ወደ 40 ፒ.ኤስ.አይ. (ጌጁ ላይ ያለው የግፊት መለኪያ) መድረስ አለበት። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ የሚታይ ከፍተኛ ግፊት ምንም አይናገርም። ደግሞ ከማስነሳታቸው በፊት ራዲያተሩን በእጅዎ ይንኩት፤ ሞቆ ከጠበቀዎት ጠዋት አንድ ሰው አሙቆታል፤ ለምን እንዳሞቀው ይጠይቁ።

ከ1971 እስከ 1974 የተሠራው ባለ 12 ሲሊንደሩ 5.3 ሊትር ሌላ ጉዳይ ነው። ለስላሳ ነው፤ ሙቀትን ግን አይታገሥም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሐራጅ ለሚገባ ሰው አንመክረውም።

ኢንተርሴፕተር፦ አሜሪካዊ ልብ፣ በእጅ የተሰፋ ልብስ

ጄንሰን የተሠራው በዌስት ብሮምዊች ነው። ንድፉ የሚላኑ ቦዲ ነዳፊ ቱሪንግ፣ የመጀመሪያዎቹ ቦዲዎች የጣሊያኑ ቦዲ ሠሪ የቪኛሌ ሥራ፣ ሞተሩና ባለ ሦስት ማርሹ አውቶማቲክ ካምቢዮ ደግሞ የክራይስለር ነው፤ መጀመሪያ 6.3 ሊትር ቪ8፣ ከ1971 ወዲህ 7.2። ፋብሪካው በ1976 ተዘጋ።

እዚህ ላይ ነው ሁለቱ መኪኖች የሚለያዩት። የኢ-ታይፕ ላሜራ ከወለል እስከ ኮፈን አዲስ ተሠርቶ ይሸጣል፤ ሞተሩን ማደስ ግን ውድ ነው። የጄንሰኑ ሞተር አሜሪካ ውስጥ በብዛት የተሠራ ስለሆነ ፒስተኑም፣ ጓርኒሲዮኑም፣ ካርቡሬተሩም በስልክ ታዞ በሳምንት ይመጣል። ቦዲው ግን በእጅ ተቀጥቅጦ፣ በእጅ ተስተካክሎ የተጨረሰ ነው፤ ከአንዱ የተፈታ በር ሌላው ላይ ያለ ሥራ አይገጥምም። የኋላው ትልቅ ጎባጣ መስታወት ቢሰበርማ ምትክ ፍለጋው ራሱ አንድ ሥራ ነው።

ስለዚህ ጄንሰን ሲያዩ ሞተሩን ለመጨረሻ ያቆዩት። ከበሩ ደፍ ይጀምሩ፤ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ማግኔቱን በስስ ጨርቅ ጠቅልለው ያሳልፉት። የማይይዝበት ቦታ ሁሉ ስቱኮ ነው። ቀጥሎ የኋላ ጎማ ቅስት፣ የፊት ፓራፋንጎ የታችኛው ጫፍ፣ ከዚያም ግንድ ሆነው ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱት ሁለቱ ወፍራም የሻንሲ ቱቦዎች። ከኋላ ባሌስትራው የሚሰቀልበትን ቦታ በጣትዎ ይጫኑት፤ ልጣጭ እየሆነ ከረገፈ ይተዉት። የሻንጣውን ምንጣፍ ገልብጠው ወለሉን ይዳስሱ፤ እርጥበት ካለ በዚያ መስታወት ጠርዝ ውኃ ይገባል።

ሞተሩን በተመለከተ ጠላቱ ሙቀት ነው። ትልቅ ቪ8 በጠባብ ቦታ ታጭቋል። ማሞቅ ከተፈቀደ አሥር ደቂቃ ባለበት ይሥራ፤ ማራገቢያዎቹ ራሳቸው መነሳታቸውን ይስሙ፣ የሙቀት ቀስቱ መቆሙን ይዩ። የራዲያተሩን ክዳን መክፈት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ብቻ! ውስጡ ቡናማ ዝገት ከሆነ የማቀዝቀዣው መንገድ ተደፍኗል። ነዳጁን ለሚጠይቁ፦ ለ100 ኪሎ ሜትር ከ20 ሊትር በላይ ይጠጣል፤ ጥሩ በሆነ ቀን።

ካታሎጉ ላይ ኤፍኤፍ የሚል ካገኙ ያ ባለ አራት ጎማ ጉተታውና ፍሬኑ እንዳይቆልፍ የተሠራው ነው፤ 320 ብቻ ተሠርተዋል። ከፊት ጎማ ኋላ ሁለት የአየር መውጫ በማየት ይለያል፤ ተራው አንድ ነው ያለው። ታሪኩ ይማርካል፣ የራሱ ብቻ የሆኑት ዕቃዎቹ ግን ገዥን ያደኸያሉ።

ከሁለቱ ምረጡ ብንባል? ኢ-ታይፕ ላሜራው ተገፎ፣ ፍሬሙ ተቀይሮ የሚያሳይ ፎቶ ከደረሰኝ ጋር ካለው እሱን። ፎቶ የሌለው «ሙሉ እድሳት» ወሬ ነው። እንዲህ ያለ ማስረጃ ከሌለ ቦዲው ጤነኛ የሆነ፣ ሞተሩ የደከመ ማርክ 3 (ሦስተኛው ዓይነት) ኢንተርሴፕተር የተሻለ ግዢ ነው፤ የደከመው ነገር በርካሽ የሚገኘው ነውና።

ከበላይና ከበታች

ገንዘቡ ስድስት አሃዝ ፓውንድ የሆነለት ሰው አስተን ማርቲን ዲቢ6ን (1965–1970) ያስባል። ማግኔቱን ቤት ይተወው፤ የውጭ ቆዳው አሉሚኒየም ስለሆነ አይይዝም። ከሥሩ ያለው ብረት ነው፤ ሁለቱ ሲነካኩና እርጥበት ሲገባ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እየሆነ ቀለሙን ያሳብጣል። በበር ጠርዝና በጎማ ቅስት ላይ ትንንሽ እብጠት ይፈልጉ። የሚያስፈራው ዝገት ግን ከበሩ ሥር በጌጥ ክዳን ተሸፍኖ ያለው ነው፤ በዕይታ ቀን ማንም አይፈታልዎትም። ሞተሩም አሉሚኒየም ብሎክ ነው፤ የሲሊንደሮቹ ግርጌ በደለል ሲሞላ ከውስጥ ይሞቃል፤ እድሳቱ በአሥር ሺዎች ፓውንድ ይቆጠራል። ይህን መኪና የሚያውቅ ባለሙያ ቀጥረው ካልሄዱ አይጫረቱ።

ከታች በኩል ኤምጂቢ ጂቲ አለ፤ 1.8 ሊትር፣ ከ1965 እስከ 1980። ዕቃው ሁሉ ይገኛል፤ ሙሉ ቦዲ እንኳ አዲስ ይሸጣል። የሚታየው አንድ ቦታ ነው፦ የበሩ ደፍ። ሦስት ድርብ ላሜራ ሆኖ መኪናውን ቀጥ አድርጎ የያዘው እሱ ነው። ፓራፋንጎው ከደፉ ጋር የሚገናኝበት የመጋጠሚያ መስመር በስቱኮ ከጠፋ በበሰበሰው ላይ አዲስ ላሜራ ለጥፈዋል። በሩን ቀስ ብለው ይዝጉት፤ ከላይና ከታች እኩል ያልሆነ ክፍተት መኪናው መሃሉ ላይ መጉበጡን ይናገራል። ቴስታታው የብረት ስለሆነ ሊድ ለሌለው ቤንዚን የጠነከረ የቫልቭ መቀመጫ ተገጥሞለት እንደሆነ ደረሰኙን ይፈልጉ። እስከ 1967 መጨረሻ የተሠሩት አንደኛ ማርሽ ላይ ሲንክሮ የላቸውም። ለመጀመሪያ ሐራጅ ከአራቱ የምናምነው ይህን ነው።

መዶሻው ከመውረዱ በፊት ያለው ሒሳብ

ቦንሃምስም ሆነ ሌላው ሐራጅ ቤት ከገዥው ኮሚሽን ይወስዳል፤ መጠኑ ካታሎጉ ላይ ተጽፏል፤ በኮሚሽኑ ላይ ደግሞ 20 በመቶ ቫት አለ። ኮሚሽኑ 12.5 በመቶ ከሆነ ከቫቱ ጋር 15 ይሆናል። ሒሳቡን ከኋላ ወደ ፊት ይሥሩት፦ በጠቅላላ 50,000 ፓውንድ አለዎት እንበል። ለጥገና 7,500፣ ለማጓጓዣ 500 ያስቀምጡ፤ 42,000 ይቀራል። በ1.15 ሲካፈል 36,500 ገደማ ነው። ይህን ቁጥር እጅዎ ላይ ይጻፉት፤ አዳራሹ ሲሞቅ ይረሳል። ከዕጣ ቁጥሩ አጠገብ ኮከብ ወይም ሌላ ምልክት ካለ ትርጉሙን ያንብቡ፤ ከውጭ ለጊዜው የገባ መኪና ከሆነ የማስገቢያ ቫት ሊጨመርበት ይችላል። መዶሻው ከወረደ ግዢው ጸንቷል፤ «ሐሳቤን ቀየርኩ» አይሠራም። በብዙ ቤቶች ኃላፊነቱም ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ የገዥው ስለሆነ ኢንሹራንሱን ቀድመው ያዘጋጁ።

ወረቀት ላይ፦ የሰሌዳ ቁጥሩን በመንግሥት የኤምኦቲ ድረ ገጽ ላይ ያስገቡ፤ እኛ አገር ለቦሎ እንደሚደረገው ምርመራ ያለ ነው። የወደቀበት ምክንያትና የተነበበው ማይል በነፃ ይታያል። 40 ዓመት የሞላው መኪና በአብዛኛው ከምርመራው ነፃ ነውና ባለቤቱ ሳይገደድ ካስመረመረው ጥሩ ምልክት ነው። ኦዶሜትሩ ባለ አምስት አሃዝ ስለሆነ 100,000 ሲሞላ ዜሮ ይመለሳል፤ 34,000 ማለት 134,000 ሊሆን ይችላል።

ለንደን ለሚኖር፣ 40 ዓመት ሞልቶት «ታሪካዊ» ተብሎ የተመዘገበ መኪና የዩሌዝ (በከተማዋ የሚነዱ፣ አየር የሚበክሉ መኪኖች የሚከፍሉት) ክፍያ የለበትም። ወደ አሜሪካ ለሚወስድ፣ 25 ዓመት ያለፈው ከደኅንነት ደረጃው ነፃ ነው። ጀርመን 30 ዓመት ያለፈውን፣ ይዞታው ያልተለወጠ ቅርስ መኪና በ7 በመቶ ቫት ታስገባለች። አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ለመላክ ግን አይሆንም፤ ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ከልክላለች።

ገዝተው ሲወጡ ነድተው አይሂዱ፤ በተጎታች ያስጭኑት። ጎማው ጎን ላይ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ይፈልጉ፤ 1409 ቢል በ2009 በ14ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ጎማው ደርቋል። አሥር ዓመት ካለፈው አራቱንም ይቀይሩ፤ የፍሬን ዘይቱንና የፍሬኑን የላስቲክ ቱቦዎችም አብረው፤ ቁልፉን የሚያዞሩት ከዚያ በኋላ ነው።