ሞደም ዳንቴል አይለብስም፦ ደሴ ላይ 11 ወር ከቤት ኢንተርኔት ጋር

ቤት ውስጥ የፋይበር ኢንተርኔት ካስገባሁ 11 ወር ሞላኝ። በነዚህ ወራት ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ስንት ሜጋ ነው?» 10 ነው። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ካስጨነቁኝ ነገሮች ሁሉ ሜጋው ትንሹ ሆኖ ነው ያገኘሁት። እንቅልፍ የነሱኝ ሌሎች ናቸው፦ ሞደሙ የተቀመጠበት ቦታ፣ መብራት፣ በር ጥግ ላይ የታጠፈች አንዲት ቀጭን ገመድ፣ እና የእናቴ ዳንቴል።

ቤታችን ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው። አምስት ነን። እኔ የትርጉም ሥራ ከቤት እሠራለሁ፣ ባለቤቴ ማስተርሷን እየተማረች ነው፣ ግማሹ ትምህርት በዙም ነው። እህቴ ጅዳ ናት፤ እናቴ በየማታው በኢሞ ፊቷን ካላየች ራቷ አይወርድላትም። ሁለቱን ልጆች አትጠይቁኝ፣ ዩቲዩብ ነው። ይህን ሁሉ በሞባይል ፓኬጅ ስናስኬድ ወሩ ሳይጋመስ ሦስተኛ ፓኬጅ ላይ እንደርስ ነበር። ቁርጤን ያወቅኩት ግን ከነሐሴ 2015 በኋላ፣ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት ነው። ያኔ ላፕቶፔን ተሸክሜ ዋይፋይ ያለበት ሆቴል እሄድና በአንድ ማኪያቶ ሦስት ሰዓት እቀመጥ ነበር፣ ብቻዬን አይደለም ደግሞ፣ በረንዳው ሙሉ እንደኔ ማኪያቶው የቀዘቀዘበት ሰው ነበር። አስተናጋጇ ዓይኗን ስታጉረጠርጥብኝ ሁለተኛ ማኪያቶ አዛለሁ። ያንን ጊዜ ያየ ሰው ቤቱ መስመር እንዲገባለት ቢመኝ አይፈረድበትም።

ምርጫዬ ሦስት ነበር። የመጀመሪያው በድሮው የስልክ መስመር የሚመጣው ነው፣ በመዳብ ሽቦ። ጎረቤታችን ሀጂ እሱን ነው ለዓመታት የተጠቀሙት። መዳብ ላይ ፍጥነቱ በርቀት ይወሰናል፤ ከስልክ ማዕከሉ እየራቃችሁ ስትሄዱ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ካለፈ ደግሞ በጣም ይደክማል። በዚያ ላይ የሽቦው መጋጠሚያ እርጥበት ከገባበት መስመሩ ይንጫጫል። የደሴን ክረምት የምታውቁ፣ ጦሳ ጉም ለብሶ ቀናት የሚያድርበትን ጊዜ የምታውቁ፣ ሌላ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሁለተኛው ሲም የሚገባበት የ4ጂ ራውተር ነው። ከወንድሜ ተውሼ ለሁለት ሳምንት ሞከርኩት። ቀን ሸጋ ነው። ማታ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባና ታወሩ ሲጨናነቅ ግን እናቴና እህቴ «ሰማሽኝ?» «አይሰማም» ሲባባሉ ያመሻሉ። ደግሞ የኛ ቤት ቁልቁለቱ ላይ ነው፤ ሲግናሉ መስኮቱ ላይ ሦስት፣ ሳሎን ውስጥ አንድ። ለተከራይ፣ ነገ ቤት ሊቀይር ለሚችል ሰው ግን እሱኑ እመክራለሁ፣ ነቅሎ መሄድ ይቻላል።

ሦስተኛው ፋይበር ነው። ሠፈራችን ውስጥ ምሰሶ ላይ መጥቶ እንደነበር ያወቅኩት ቀና ብዬ በማየት ነው። ምክሬ ይኸው፦ ቴሌ ቢሮ ከመሄዳችሁ በፊት ቅርብ ያለው ምሰሶ ላይ ያለችውን ማከፋፈያ ሳጥን ፈልጉ፣ ከዚያም ከቤታችሁ ስንት ሜትር እንደሆነ በእግራችሁ ለኩ። እኔ 70 እርምጃ ብዬ ስነግራቸው ነገሩ ፈጠነ። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፣ በየጊዜው ይለዋወጣል።

የ10 ሜጋ ነገር ላይ ግን ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚጣላው እዚህ ላይ ነው። ፓኬጁ የሚለካው በሜጋ ቢት ነው። ስልካችሁ ፋይል ሲያወርድ የሚያሳያችሁ በሜጋ ባይት ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው፤ ስለዚህ 10 ሜጋ ማለት በሰከንድ 1.25 ሜጋ ባይት ገደማ ነው። አንድ ጊጋ ባይት ፊልም ከ13 ደቂቃ በላይ ይፈልጋል። የአጎቴ ልጅ «አጭበረበሩኝ፣ 10 ከፍዬ 1 ነው የሚመጣው» እያለ ሲራገም ከርሞ ይህን ሳስረዳው ዝም አለ። አንድ ጥራት ያለው ቪዲዮ 5 ሜጋ ቢት አካባቢ ይበቃዋል። ሁለት ሰው ቪዲዮ ሲያይ ጥሩ ነው፣ ሦስተኛው ዙም ከከፈተ መተሳሰብ ይጀመራል። በኬብል ስለካው 9.4 ያሳያል፤ ማታ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ወደ 7 ይወርዳል። አልተከፋሁም።

መስመሩን ሊገጥም የመጣው ልጅ ጨዋ ነበር። ችግሩ ቸኩሏል። «ሞደሙን የት ላድርገው?» ሲለኝ እናቴ ቀድማ ቡፌውን አሳየችው። ቡፌው ውስጥ፣ ከመስታወቱ ኋላ፣ ከሲኒዎቹና ከቴሌቪዥኑ ጎን። አስተካክላም ዳንቴል አለበሰችው። የኛ ቤት ውስጥ ዳንቴል የማይለብስ ነገር የለም፣ እኔ ራሴ ያመለጥኩት በትንሽ ነው። ለሁለት ወር ያህል ከሰዓት በኋላ ኢንተርኔቱ ቀጥ ይላል፣ አጥፍቼ ሳበራው ይመጣል። ስንቴ ደወልኩ መሰላችሁ። አንድ ቀን አቧራ ልጠርግ ሳነሳው እጄን አቃጠለኝ። ጎኑ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ሙቀት የሚያስወጡት በነሱ ነው፣ ዳንቴሉ ደግሞ ደፍኗቸዋል። አውጥቼ ግድግዳ ላይ፣ ከሰው ራስ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ቀን ቀጥ አላለም። መኝታ ቤት 3 የነበረው ፍጥነት ወደ 8 ወጣ፣ ያውም ሳንቲም ሳልጨምር። እናቴ እስካሁን «ግድግዳዬን አበላሸኸው» ትለኛለች።

ከዚያ የገመዱ ጣጣ መጣ። የፋይበር ገመድ ውስጡ ፀጉር የምታህል መስታወት ናት፣ የሚሄድባት ብርሃን ነው። ከልክ በላይ ስትታጠፍ ብርሃኑ በመታጠፊያው ላይ ያመልጣል፤ ገመዱ አልተቆረጠም፣ ግን ደክሟል። ልጁ ሲገጥም በበሩ ጥግ አጥፎ ነበር ያስገባት፣ በሩ ሲዘጋ ደግሞ ይጫናታል። በተገጠመ ቀን የብርሃኑን ልኬት እንዲያሳየኝ ጠይቄው ኔጋቲቭ 19 ዲቢኤም ነበር (የብርሃኑ ጉልበት መለኪያ ነው፣ ከኔጋቲቩ ኋላ ያለው ቁጥር ሲጨምር ብርሃኑ ደከመ ማለት ነው)፣ ወረቀት ላይ ጻፍኳት። ይህችን ቁጥር መጻፌ በኋላ ጠቀመኝ። አምስተኛው ወር ላይ መስመሩ መቆራረጥ ጀመረ፣ ሞደሙ ላይ «ሎስ» የምትባለው፣ ብርሃኑ ሲጠፋ የምታስጠነቅቀው መብራት ቀይ ብልጭ ትላለች። ደወልኩ። የብልሽት ቁጥር ሰጡኝ። ሁለት ጊዜ «ተስተካክሏል» የሚል መልእክት መጣልኝ፣ የመጣ ሰው ግን የለም። ስምንት ቀን! ባለቤቴ ፈተናዋን ከጓደኛዋ ቤት ነው የተፈተነችው። በዘጠነኛው ቀን በአካል ሄጄ «ስትገጥሙ 19 ነበር፣ አሁን ስንት እንደሆነ መጥታችሁ ለኩ» አልኳቸው፤ ቁጥር የሚያወራ ሰው ሲያዩ ይሁን ፊቴ አስፈርቷቸው፣ ከሰዓት ሰው መጣ። ለካው፣ ኔጋቲቭ 28። እንዲህ ዓይነት ሞደም ከኔጋቲቭ 27 ገደማ በታች ሲወርድ ብርሃኑን መለየት ያቅተዋል። «አብሽር» አለኝና ገመዱን ከበሩ አንስቶ በመስኮቱ በኩል ዞር አድርጎ አስገባው። ኔጋቲቭ 20 ላይ ተመለሰ። ሥራው ሩብ ሰዓት አልፈጀም። የሚተርፋችሁን ገመድ ስትጠቀልሉ ከቡና ሲኒ አፍ ጠበብ አታድርጉት፣ እሱ ልክ ነው።

መብራት። መብራት ሲሄድ ሞደሙም ይሄዳል፤ መጀመሪያ ላይ ኢንተርኔቱም አብሮ የሚጠፋ መስሎኝ ነበር። አይደለም። መንገድ ላይ ያለው የፋይበር ማከፋፈያ መብራት አይፈልግም፣ ብርሃኑን በመስታወት ብቻ ነው የሚከፍለው። ስለዚህ ቤት ውስጥ ያለውን ሞደም በባትሪ ካቆያችሁት፣ ሠፈሩ ሁሉ ጨልሞ እናንተ ዙም ላይ ናችሁ። ትንሽዬ የራውተር ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ ማለት ነው፣ ገዛሁ፤ 8,800 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚል ተጽፎበታል። ቁጥሩ ያሳስታል፤ በውስጡ ያሉት ባትሪዎች 3.7 ቮልት ስለሆኑ ጉልበቱ 32 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። የኔ ሞደም 8 ዋት አካባቢ ይበላል፣ የሚባክነውም ታስቦ ሦስት ሰዓት ያስኬደኝ ነበር። ስትገዙ ከሞደማችሁ አዳፕተር ላይ ቮልቱን አንብቡ፣ የኔ 12 ነው፣ 9 የሆኑም አሉ። ካምታታችሁት ሞደሙን ልታቃጥሉት ትችላላችሁ። ከጠቅላላ ወጪዬ ውስጥ ያልቆጨኝ ይሄኛው ነው።

አሁን ወደ ጎረቤት። ወሎ ላይ ፓስወርድ መከልከል ማለት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ለሌላ አገር ሰው አስረዱልኝ። እሳት የምንጫጫር ጎረቤቶች ነን፣ ቡና ተጠራርተን የምንጠጣ፣ የነሱ ዒድ የኛ ነው፣ የኛ ጥምቀት የነሱ። ልጄ ፓስወርዱን ለአንድ ጓደኛው ሰጠው። በቃ። ከዕለታት አንድ ቀን ሞደሙ ውስጥ ገብቼ የተገናኘውን ስልክ ብቆጥር 23! የኛ ስልኮች ስድስት ናቸው። አንዱ ስልክ ስሙ «የሠፈሩ አንበሳ» ይላል፣ እስካሁን ማን እንደሆነ አላወቅኩም። ፓስወርድ ብቀይር የሚያኮርፍ አለ፣ ባልቀይር የባለቤቴ ዙም ይቆማል። መላው ምን ሆነ፣ ሌላ ራውተር ጨምሬ የእንግዳ ዋይፋይ የሚባለውን ከፈትኩ። ስሙም ፓስወርዱም ለብቻ ነው፣ ፍጥነቱን 2 ሜጋ ላይ ገደብኩት፣ የቤታችንን ኮምፒውተሮችም ማየት አይችልም። ሀጂ መልእክት ይልኩበታል፣ ልጆቹ የቤት ሥራ ይፈልጉበታል፣ ቲክቶክ ለሚፈልግ ግን ይንቀረፈፍበታል። ማንም አላኮረፈም። አንድ ጎረቤት ብቻ «ያንተ ኢንተርኔት ደከመ አይደል?» አለችኝ፣ እኔም «ኧረ ተይኝ፣ አማርሮኛል» አልኳት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ዋናውን ፓስወርድ ደግሞ፣ ሞደሙ ጀርባ ላይ ተለጥፎ የሚመጣውን፣ በመጀመሪያው ቀን ቀይሩ። የመቆጣጠሪያ ገጹንም ጭምር። ስልኮቻችሁም ፎቶ በራሳቸው ወደ ኢንተርኔት እንዲጭኑ ተደርገው እንደሆነ እዩ፤ የኔ ስልክ ሠርግ ላይ ያነሳሁትን 400 ፎቶ ሲጭን አመሻሽቶ የእናቴን ጥሪ ገደለው፣ እኔ ደግሞ መስመሩን እየረገምኩ።

የቀረኝ ማድቤቱ ነበር። ማድቤታችን ግቢው ጫፍ ላይ ነው፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ። ዋይፋይ ቆርቆሮን አያልፍም፣ አለቀ። እናቴ ደግሞ እህቴን እንጀራ እየጋገረች ነው ማውራት የምትወደው፣ ምጣዱን ታሳያታለች፣ ያቺም ጅዳ ሆና ታለቅሳለች። ማጉያ የሚባለውን ገዝቼ ሞከርኩ፣ ብር መጣል ነው። በመጨረሻ 25 ሜትር የኔትወርክ ኬብል በፕላስቲክ ቱቦ ከቤት እስከ ማድቤት አሳለፍኩ። ኬብሉ እስከ 100 ሜትር ስለሚሠራ ርቀቱ ምንም አይደለም። ጫፉ ላይ አንድ አሮጌ ራውተር፣ ለሚገናኙት ስልኮች የኔትወርክ አድራሻ የማደሉን ሥራ አጥፍቼበትና የራሱን አድራሻ ቀይሬ፣ እንደ ሁለተኛ ዋይፋይ አደረግኩት። አድራሻ ማደሉን ካላጠፋችሁ ሁለቱ ይጋጫሉ፣ እኔ አንድ ሙሉ ቅዳሜ የፈጀሁት በሱ ነው።

አሁን ያለሁበት ይኸው ነው። ወደሚቀጥለው ፓኬጅ ልውጣ ወይ ብዬ አስቤ ነበር፣ ባለቤቴ ትምህርቷን እስክትጨርስ 10ሩ ይበቃናል ተባብለን ተውነው። ዩፒኤሱ ግን እያረጀ ነው፣ ባለፈው ሳምንት መብራት ሲጠፋ የያዘው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ማድቤት ያለውን ራውተር ደግሞ ትናንት ሳየው ጭስ እንዳይነካው ተብሎ ዳንቴል ለብሷል።